ሜጋማን ኤክስ ላይ ጀማሪዎች የሚደጋግሟቸው ስህተቶች

ካፕኮም ሜጋማን ኤክስ የሚባለውን ጌም ለሱፐር ኒንቴንዶ ማጫወቻ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1993 መጨረሻ ነው። ዛሬም ሰው ሲጀምረው አጠገቡ ቁጭ ብዬ አያለሁ፤ ሁሉም የሚሞተው አንድ ዓይነት ስህተት እየሠራ ነው። ብዙዎች «ከበደኝ» ብለው ይተዉታል፤ ይሄ ያናድደኛል፣ ምክንያቱም የከበዳቸው ጌሙ ሳይሆን አያያዛቸው ነው።

መግቢያው ላይ ተሸነፍኩ ብሎ ማጥፋት። ታናሽ ወንድሜን ያስለቀሰው ይሄ ነው። የመጀመሪያው ስቴጅ መጨረሻ ላይ ቫይል የሚባለው ጠላት ግዙፍ ሮቦት ውስጥ ተቀምጦ ይመጣል። ወንድሜ ነፍሱ ልታልቅ ስትል ጌሙን ያጠፋና እንደገና ከመጀመሪያ ይነሳል፤ አራት ጊዜ እንደዚህ ሲያደርግ ደረስኩበት። እዚያ ቦታ ላይ ማሸነፍ አይቻልም። ነፍሳችሁ ስትመናመን ቫይል ኤክስን (የምትጫወቱበትን ገጸ ባሕርይ) አንቆ ይይዘዋል፣ የኤክስ ጓደኛ ዜሮ ይደርስና የሮቦቱን ክንድ በጥይት ይቆርጠዋል፣ ታሪኩም ከዚያ ይቀጥላል። ስለዚህ ዝም ብላችሁ ተመቱ።

የተኩስ ቁልፉን መቀጥቀጥ። እባካችሁ ይሄን ተዉ! ጀማሪ ሁሉ ጠላት ሲያይ ቁልፉን ጠ-ጠ-ጠ-ጠ ያደርገዋል። ትንንሾቹ ጥይቶች አቅም የላቸውም። ቁልፉን ተጭናችሁ ስትይዙት ግን መሣሪያው ቻርጅ ያደርጋል፤ የኤክስ ገላ መብረቅረቅ ይጀምራል፣ ስትለቁት የሚወጣው ትልቁ ጥይት ብዙ ትንንሽ ጥይት የሚፈጅ ጠላትን በአንዴ ይጥላል። ስትሮጡም፣ ስትዘሉም፣ ግድግዳ ስትወጡም አውራ ጣታችሁ ከተኩስ ቁልፉ ላይ አይነሳ። የምትለቁት ለመተኮስ ብቻ ነው፤ ወዲያው መልሳችሁ ትይዙታላችሁ።

«እንዴት ሆኖ? ጣቴ አንድ ነው» ይሉኛል። እውነት ነው፣ ጥፋቱም የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው። ጆይስቲኩ ሲመጣ መተኮሻው ዋይ ላይ፣ መዝለያው ቢ ላይ፣ ዳሽ (በፍጥነት ወደፊት መወርወሪያው) ደግሞ ኤ ላይ ነው። ዋይን በአውራ ጣታችሁ ጫፍ ይዛችሁ ቢን በጣቱ ሆድ መጫን ትችላላችሁ። ኤን ልትነኩ ስትሉ ግን ጣታችሁ ዋይን ይለቃል፣ ያጠራቀማችሁት ጥይት ባዶ ሜዳ ላይ ይፈነዳል። እኔም ይሄን ሳላውቅ ለብዙ ጊዜ ተጫውቻለሁ፤ ጣቴ ሰነፍ ነው ብዬም ተስፋ ቆርጬ ነበር። መፍትሔው ኦፕሽን ውስጥ ገብቶ ዳሽን ከላይ ወዳሉት የትከሻ ቁልፎች መቀየር ነው። የመጀመሪያው ቀን ያደናግራል። በሁለተኛው ቀን ቻርጅ ይዛችሁ በዳሽ ትዘላላችሁ፤ ከዚያ በኋላ ወደ ድሮው መመለስ የማይታሰብ ነው።

ዳሽ ሳይኖር ሌላ ቦታ መንከራተት። መጀመሪያ ቺል ፔንግዊን የሚባለው ቦስ (ስቴጁ መጨረሻ ላይ የሚጠብቅ ትልቅ ጠላት) ስቴጅ ሂዱ። ዳሽ የሚሰጠው የእግር ትጥቅ መንገዳችሁ ላይ ነው፣ አታልፉትም።

ቦሶቹን በዘፈቀደ መምረጥ። ስምንቱም ቦሶች የሌላው መሣሪያ ይጥላቸዋል። ከፔንግዊን የምታገኙትን በረዶ ስፓርክ ማንድሪል ላይ ተኩሱ፤ ያ ጉልበተኛ ዝንጀሮ ባለበት ደርቆ ይቀራል። በረዶው ተሰብሮ ሲወጣ ወዲያው ሌላ ጨምሩለት። የማንድሪል ኤሌክትሪክ ደግሞ የአርመርድ አርማዲሎን ጋሻ ያስወልቀዋል። አንድ ጓደኛዬ ማንድሪልን በተራ ጥይት ብቻ ሲታገል አመሸ፤ በረዶው እኮ እጁ ላይ ነበር! መሣሪያ ስታገኙ ሁሉም ላይ ሞክሩት። ስቴጆቹም እርስ በርስ የተሳሰሩ ናቸው፦ ፔንግዊንን ካሸነፋችሁ ፍሌም ማሞዝ ጋ ያለው የቀለጠ እሳት ቀዝቅዞ ይጠብቃችኋል፣ ስቶርም ኢግልን ከጣላችሁ መርከቡ ማንድሪል ስቴጅ ላይ ወድቆ ወለሉን ያናውጥ የነበረውን ኤሌክትሪክ ያጠፋዋል። ይሄ በ1993 የተሠራ መሆኑን ሳስብ አሁንም ይገርመኛል።

ዝላይን ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አድርጎ መጫን። ቁልፉን ነካ ካደረጋችሁት ኤክስ አጭር ይዘላል፣ ከያዛችሁት ረጅም። ጣሪያው ዝቅ ባለበት ቦታ የሚሞተው ሰው አብዛኛው ይሄን ያላወቀ ነው።

ነፍስ ሙሉ ሲሆን የነፍስ መሙያዎችን መተው። ሰብ ታንክ (ትርፍ ነፍስ ማጠራቀሚያ) ካገኛችሁ በኋላ ትርፉ ወደዚያ ይገባል። አራት ታንኮች አሉ፤ ሞልታችሁ ወደ መጨረሻዎቹ ስቴጆች ግቡ። ታንኩንም ሁለት ሦስት ስለተመታችሁ ብቻ ደንግጣችሁ አትክፈቱት፤ እኔ ደጋግሜ ከፍቼዋለሁ፣ ቦሱ ግማሽ ነፍስ ሲቀረው ባዶ እጄን ቀርቻለሁ።

እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣውን ሌጋሲ ኮሌክሽን (የድሮዎቹን ሜጋማን ኤክስ ጌሞች የያዘ ስብስብ) የሚጫወት ሰው ሩኪ ሀንተር የሚለውን ሞድ ቢያበራ ነውር የለበትም። ጉዳቱ ይቀንሳል፣ የቦሶቹን አካሄድ ረጋ ብላችሁ ትማራላችሁ፣ ሲለመድ ታጠፉታላችሁ።

አንድ ነገር ቀርቶኛል፦ ቲቪው። ጌሙ በሴኮንድ 60 ምስል ነው የሚያሳየው፤ አንዱ ምስል 17 ሚሊሴኮንድ አይሞላም። ቲቪው ምስሉን ለማሳመር ሲል ካዘገየው ቁልፉን በሰዓቱ ብትጫኑም ኤክስ ዘግይቶ ይዘላል፣ ገደል ውስጥም ይገባል። ሰው ግን የሚወቅሰው ጣቱን ነው። ሴቲንግ ውስጥ ጌም ሞድ የሚል አለ፤ እሱን አብሩና ያቃታችሁን ዝላይ እንደገና ሞክሩት።