ግሬድ ያልተደረገ ጠገራ ስትገዙ፣ ሻጩ «እጅ ያልነካው ነው» ሲላችሁ

ደብረ ብርሃን ላይ የዛሬ ሶስት አመት አንድ የምኒልክ ብር ገዛሁ፣ ሻጩ ሸምገል ያለ ሰው ነው፣ «ልጄ ይሄ እጅ ያልነካው ነው፣ እስቲ እየው እንዴት እንደሚያበራ» አለኝ፣ እኔም ማብራቱን አይቼ ከፈልኩ። ቤት ገብቼ በማጉያ ሳየው ፊቱ በሙሉ ወደ አንድ አቅጣጫ በሄደ ቀጫጭን ጭረት ተሞልቷል፣ ለካ በአመድና በሎሚ ታሽቶ ነው ያበራው። ሰውዬው አላወቀም ይሆናል ብዬ አለፍኩት፣ ገንዘቤ ግን ሄደ።

እኛ አገር፣ አንኮበር በሉት መንዝ፣ ጠገራ አሁንም ከአያት ሳጥንና ከአንገት ጌጥ ላይ ይወጣል። ግሬድ የተደረገ የሚባለው አሜሪካ ያሉት ሳንቲም መርማሪ ድርጅቶች ፒሲጂኤስና ኤንጂሲ ከ1 እስከ 70 ነጥብ ሰጥተው ፕላስቲክ ውስጥ ያሸጉት ነው፣ 60ና ከዛ በላይ ማለት ገበያ ላይ ያልዋለ፣ 40 አካባቢ ደግሞ ትንሽ ብቻ የተበላ። እጃችን የሚገባው ግን ያልታሸገው ስለሆነ ግሬዱ የሻጩ አፍ ነው ማለት ነው፣ እና እኔ አሁን የማደርገው አፉን ሳልሰማ መጀመሪያ ሳንቲሙን ማየት ነው።

ቀድማችሁ እውነተኛነቱን ለዩ፣ ፎርጅድ ግሬድ የለውም። ትንሿን የወርቅ ሚዛን ይዛችሁ ሂዱ። ማሪያ ትሬዛ (የኦስትሪያዋ ንግስት ምስል ያለበት ጠገራ) 28.07 ግራም ገደማ ነው፣ የምኒልክም አንድ ብር እንደዛው (አያቶቻችን ወቄት የሚሉት ክብደት ከዚሁ ጠገራ ጋር እኩል ነው)፣ የተበላ ከሆነ ትንሽ ይቀንሳል፣ በጣም ከጎደለ ወይ ከበለጠ ግን ተዉት። ከዛ የውሃ ነገር አለ፣ ቤት ውስጥ የሚሰራ ነው፦ ብርጭቆ ውሃ ሚዛኑ ላይ አስቀምጣችሁ ዜሮ አድርጉት፣ ሳንቲሙን በክር አስራችሁ ውሃው ውስጥ አንጠልጥሉት፣ ታችም ጎንም እንዳይነካ፣ ሚዛኑ 2.75 ገደማ ካነበበ ጥሩ ነው። ደረቁን ክብደት ለዚህ ስታካፍሉት 10.2 አካባቢ ይመጣል፣ ምክንያቱም ሁለቱም 83 ፐርሰንት ምናምን ብር ሌላው መዳብ ስለሆኑ። ናስ ከሆነ 8 ተኩል አካባቢ ነው የሚመጣው፣ ያኔ ሻጩን አመስግናችሁ ውጡ።

ማሪያ ትሬዛ ላይ 1780 የሚለውን አይታችሁ «ሁለት መቶ አርባ አመቱ ነው» የሚላችሁን አትመኑ። ንግስቲቱ የሞተችው በፈረንጅ 1780 ነው፣ ከዛ ወዲህ ያው ቁጥር ሳይቀየር ቪየና፣ ሮም፣ ለንደን፣ ፓሪስ፣ ቦምቤይ ሲመታ ኖሯል፣ ኦስትሪያዎች ዛሬም ይመቱታል። ስለዚ ቁጥሩ እድሜ አይነግራችሁም። ጠርዙን ግን እዩ፣ በላቲን «ፍትህና ምህረት» የሚል ፅሁፍ ጎልቶ ወጥቶ ይታያል፣ ቀልጦ የተቀዳ ፎርጅድ ላይ ይሄ ደብዝዞ ወይ መገጣጠሚያ መስመር ይዞ ታገኙታላችሁ።

የምኒልኩ ላይ አመተ ምህረቱ በግእዝ ቁጥር ነው፣ አንድ ብሩ ፲፰፻፹፯፣ ፲፰፻፹፱፣ ፲፰፻፺፪ እና ፲፰፻፺፭ አለ። የ፹፯ቱ ትንሽ ስለተመታ ዋጋው ሌላ ነው፣ የተበላ ላይ ደግሞ ፯ እና ፱ ያምታታሉና ሻጩ ሲያነብላችሁ ዝም ብላችሁ አትቀበሉ፣ ራሳችሁ በማጉያ አንብቡት።

አሁን ወደ ግሬዱ። አንድ አምፖል ስር ያዙትና ቀስ ብላችሁ አዘንብሉት፣ ያልታሸ ሳንቲም ላይ ብርሃኑ እንደ ጎማ ሲዞር ታያላችሁ፣ የታሸው ደግሞ እንደ አዲስ ድስት ሁሉም ቦታ እኩል ያብለጨልጫል። ቀድመው የሚበሉት ከፍ ያሉት ቦታዎች ናቸው፣ የአንበሳው ጎፈር፣ የንጉሱ ጉንጭና ጢም፣ ዘውዱ ላይ ያለው ስራ። ጎፈሩ ፀጉር ፀጉሩ ከለየ ጥሩ፣ ለስልሶ አንድ ከሆነ ሻጩ ምንም ይበል ተበልቷል። ጥቁረት አያስደንግጣችሁ፣ እኔ አሁን የጠቆረውን ነው የምመርጠው፣ እንዳታጥቡትም አደራ። ከላይ በኩል ጠርዙን ደግሞ ፈትሹ፣ ብዙው ማተብ ላይ ሲንጠለጠል የኖረ ስለሆነ የማንጠልጠያ ጆሮ ብየዳ ጠባሳ ወይ የተደፈነ ቀዳዳ ይኖረዋል፣ አንጥረኛ ጎበዝ ከሆነ በአይን አይለይም፣ በማጉያ ግን ቀለሙ ይለያል። የታጠበ ወይ የተበየደ ሳንቲም እነዛ ድርጅቶች ጋ ቢላክ ነጥብ አይሰጡትም፣ ጉድለቱን ነው የሚፅፉበት።

በቴሌግራም ፎቶ ብቻ አትግዙ፣ ካልቀረ ግን ሲያዘነብሉት ቪዲዮ ይላክላችሁ። የአክሱም ሳንቲም የሚያቀርብላችሁ ካለ ደግሞ ተዉት፣ እሱ ቅርስ ነው፣ አዋጅ ቁጥር 209/1992 አለበት፣ ፎርጅዱም ሞልቷል።

ዋጋ ላይ የኔ ዘዴ ሻጩ ካለው ግሬድ አንድ ደረጃ ዝቅ አድርጎ መክፈል ነው፣ ካልተስማማ መሄድ። ከመክፈል በፊት ደግሞ አንድ ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ይሄንኑ ነገ ባመጣልዎት በስንት ይገዙኛል?» መልሱ ከዋጋው በጣም ከራቀ ወይ ሰውዬው ሳል ሳል ካለው ግሬዱን ራሱም አላመነበትም። ይሄን የተማርኩት ከዛው ሰውዬ ነው፣ ያንን ብር ከአመት በኋላ ይዤለት ሄድኩ፣ እሱው የሸጠልኝ መሆኑን አላወቀም፣ መነፅሩን አድርጎ አገላበጠና «ልጄ ይሄ እኮ ታጥቧል» አለኝ።