ለቤት ወርክሾፕ የመለኪያ መሣሪያ በአነስተኛ ገንዘብ እንዴት ይመረጣል?

ጎንደር ውስጥ በግቢው ጥግ ቆርቆሮ ጥሎ፣ አንድ ጠረጴዛና አንድ ሞርሳ አስቀምጦ የራሱን በር፣ መደርደሪያ ወይም የመስኮት ፍሬም የሚሠራ ሰው ጥቂት አይደለም። እንዲህ ያለው ሰው ገንዘቡን አስቀድሞ የሚያወጣው ለመጋዝ፣ ለትራፓኖና ለብየዳ ማሽን ስለሆነ፣ ለመለኪያ የሚተርፈው ጥቂት ነው። ይህ በራሱ ጉዳት የለውም፤ በርካሽ መለኪያ ጥሩ ሥራ ይሠራል። ጉዳቱ መለኪያው ሳይፈተሽ ሲገዛ ነው። የደነዘዘ መጋዝ ገና እንጨቱን ሲነካ ያስታውቃል፤ የተሳሳተ ሜትር ግን ሥራው አልቆ እስኪገጠም ድረስ ምንም ምልክት አይሰጥም።

ይህን የተረዳሁት ለአንድ አሮጌ የድንጋይ ቤት የብረት በር በሠራሁ ጊዜ ነው። ክፍተቱን ቤቱ ድረስ ሄጄ በአንድ ሜትር ለካሁ፤ ብረቱን ግን ግቢዬ ውስጥ በነበረ ሌላ ሜትር ለክቼ ቆረጥሁ። ሁለቱ ሜትሮች በ4 ሚሊ ሜትር ይለያዩ ነበር፤ የአንደኛው መንጠቆ ወድቆ ተጣሞ ኖሯል። በሩ አልገባም፤ ብየዳውን ቆርጬ እንደገና ለማያያዝ አንድ ሙሉ ቀን ፈጀብኝ። ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም መለኪያ መደብሩ ውስጥ ሳልፈትሽ ገንዘብ አልከፍልም፤ ከዚህ በታች የምዘረዝረውም ያንን የፍተሻ መንገድ ነው።

መጀመሪያ ሥራዎን ይወስኑ

ወደ አራዳ ወይም ወደ ቅዳሜ ገበያ ከመውጣትዎ በፊት፣ የሚሠሩት ሥራ ምን ያህል ስህተት እንደሚችል ያስቡ። ለግቢ አጥር የሚቆም ቋሚ እንጨት በአንድ ሴንቲ ሜትር ቢያጥር ማንም አያስተውለውም። የቱቦላሬ በር ወይም የዋንዛ ጠረጴዛ የ1 ሚሊ ሜትር ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ መሳቢያ ደግሞ ከዚያም ያነሰ። ዘንግ ላይ የሚገባ ኩሽኔታ (ዘንግ እንዲሽከረከር የሚይዝ ባለ ኳስ የብረት ቀለበት) ከሆነ ጉዳዩ የሚሊ ሜትር መቶኛዎች ይሆናል። አብዛኛው የቤት ሥራ በ1 ሚሊ ሜትር ዙሪያ ያለ በመሆኑ፣ ጥሩ ሜትር፣ ማዕዘን የሚፈትሽ ስኳድራና በአረፋ አግድምና ቀጥ መሆንን የሚያሳይ ውሃ ልክ ካለዎት ከግማሽ በላይ መንገድ ሄደዋል። አራተኛው ዕቃን በመንጋጋ ይዞ የሚለካው ካሊፐር ነው። ከካሊፐር ይበልጥ በጥቃቅን የሚለካው ማይክሮሜትር የቶርኖ (ብረት እያሽከረከረ የሚቀርጽ ማሽን) ሥራ ለሚሠራ ሰው ነው፤ በጨረር ርቀት የሚለካው መሣሪያም ሰፊ ክፍል ለመለካት እንጂ ብረት ለመቁረጥ ስለማይሆን ሁለቱንም ለጊዜው ይተዉአቸው።

ሜትር

ለቤት ሥራ የ5 ሜትር ርዝመት ይበቃል። ከርዝመቱ ይልቅ ስፋቱን ይመልከቱ፤ ስፋቱ 25 ሚሊ ሜትር የሆነ የሜትር ላሜራ ሲዘረጋ ሳይታጠፍ ርቆ ይቆማል፤ ጠባቡ ግን ቶሎ ይታጠፋል፤ ብቻዎን ሲለኩም ያስቸግራል። የሚሊ ሜትር መስመሮቹ ቀጭንና ጥርት ያሉ መሆናቸውን፣ ቁጥሩም በጣት ሲታሽ የማይለቅ መሆኑን ያረጋግጡ።

ሜትሩ መጀመሪያ ላይ በሮማውያን አኃዝ አንድ፣ ሁለት ወይም ሦስት ተብሎ የተጻፈ ምልክት ሊኖር ይችላል። ይህ በአውሮፓ ደንብ መሠረት የትክክለኝነት ደረጃ ነው፤ አንደኛ ደረጃ በ5 ሜትር ላይ እስከ 0.6 ሚሊ ሜትር፣ ሁለተኛ ደረጃ እስከ 1.3፣ ሦስተኛ ደረጃ እስከ 2.6 ሚሊ ሜትር ስህተት ይፈቀድለታል። ለቤት ሁለተኛ ደረጃ ከበቂ በላይ ነው። ነገር ግን ምልክት ማተም ቀላል ስለሆነ፣ መታተሙ ብቻ ማረጋገጫ አይሆንም።

ስለዚህ ጫፉ ላይ ያለውን መንጠቆ በጣትዎ ይነካኩ። በትንሹ ወደፊትና ወደኋላ መንቀሳቀስ አለበት። ብዙ ሰው ይህን እንደ ብልሽት ቆጥሮ ሪቬቱን በመዶሻ ይመታዋል፤ ይህም ደህናውን ሜትር ማበላሸት ነው። መንጠቆው የሚንቀሳቀሰው በራሱ ውፍረት ልክ ሲሆን፣ ዕቃ ጫፍ ላይ ሰክተው ሲስቡና ግድግዳ ላይ ተደግፈው ሲገፉ ዜሮው ከአንድ ቦታ እንዲጀምር ያደርጋል። ለመፈተሽ አንድ የብረት ማስመሪያ ይጠይቁ፤ መንጠቆውን በማስመሪያው ጫፍ ላይ ሰክተው አንድ ጊዜ፣ ማስመሪያውንና መንጠቆውን አንድ ቀጥ ያለ ነገር ላይ አስደግፈው ሁለተኛ ጊዜ ያነጻጽሩ። ሁለቱም ጊዜ መስመሮቹ ከተገጣጠሙ ሜትሩ ደህና ነው። የማስመሪያው ዜሮ ከጫፉ ላይ የሚጀምር መሆኑን ግን አስቀድመው ይዩ።

ከዚያ በኋላ አንድ ሥራ በአንድ ሜትር ይጀመር፤ በዚያው ይለቅ። አባቶቻችን በክንድ፣ በስንዝርና በጋት ሲለኩ የአንዱ ሰው ክንድ ከሌላው እንደሚለይ ያውቁ ነበር፤ ሥራው በአንድ ሰው ክንድ ከተለካ ግን እርስ በርሱ ይስማማል። በሁለት ሜትር የሚሠራ ሰው በሁለት ሰው ክንድ እንደሚለካ ነው። በጣም ጥንቃቄ የሚፈልግ ቦታ ላይ መንጠቆውን ትተው ከ10 ሴንቲ ሜትር መስመር ይጀምሩና ከውጤቱ ላይ 10 ይቀንሱ። መቀነሱን መርሳት የተለመደ ስህተት በመሆኑ፣ የተቀነሰውን ቁጥር ወዲያው እንጨቱ ላይ ይጻፉት።

ስኳድራ

የስኳድራ ፍተሻ ምንም ወጪ የለውም። ጠርዙ በፋብሪካ የተቆረጠ ቀጥ ያለ የኤምዲኤፍ ወይም የቺፕውድ ቁራጭ ያግኙ። ስኳድራውን ጠርዙ ላይ አስደግፈው በቀጭን እርሳስ መስመር ያስምሩ፤ ከዚያ ስኳድራውን ገልብጠው ከዚያው ነጥብ ላይ ሁለተኛ መስመር ያስምሩ። መስመሮቹ አንዱ በሌላው ላይ ከወደቁ ስኳድራው ትክክል ነው። ከተለያዩ የሚታየው ልዩነት የእውነተኛው ስህተት እጥፍ ነው። በ30 ሴንቲ ሜትር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ከተለያዩ ስኳድራው በ0.5 ሚሊ ሜትር ተሳስቷል ማለት ነው፤ ያው ስህተት 2 ሜትር ከፍታ ባለው በር ላይ ከ3 ሚሊ ሜትር ያልፋል። ለትንሽ ሳጥን ሊያገለግል የሚችለው ስኳድራ ለበር የማይበቃው ለዚህ ነው።

ለትላልቅ ፍሬሞች ስኳድራ ባይኖርም ሜትር ብቻውን ይበቃል። ከማዕዘኑ በአንድ ወገን 60፣ በሌላው 80 ሴንቲ ሜትር ምልክት ያድርጉ፤ በምልክቶቹ መካከል ያለው ርቀት 100 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ማዕዘኑ ትክክለኛ ነው። ፍሬሙ ከተገጣጠመ በኋላም ሁለቱን ሰያፎች (ከማዕዘን እስከ ተቃራኒው ማዕዘን ያለውን ርቀት) ይለኩ፤ ወርዱ 90፣ ቁመቱ 200 ሴንቲ ሜትር የሆነ በር ሁለቱም ሰያፎቹ 219.3 ሴንቲ ሜትር መሆን አለባቸው። ብየዳውን ሙሉ በሙሉ ከመጨረስዎ በፊት፣ ገና በነጥብ በነጥብ እንደተያያዘ ይህን ቢያደርጉ ማስተካከል ይቀላል።

ውሃ ልክ

ውሃ ልክም በመገልበጥ ይፈተሻል። መደብሩ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው አረፋው የቆመበትን ቦታ ያስተውሉ፤ ከዚያ ግራና ቀኙን አዙረው በዚያው ቦታ ያስቀምጡት። ጠረጴዛው ያዘነበለ ቢሆን እንኳ አረፋው ወደዚያው ወገን፣ በዚያው መጠን መሄድ አለበት። ወደ ሌላ ወገን ከሄደ ውሃ ልኩን ይመልሱት። ቀጥ አድርጎ የሚያቆመውን አረፋ ደግሞ ግድግዳ ላይ በአንዱ ፊት፣ ቀጥሎም በሌላው ፊት አስደግፈው ያነጻጽሩ። ርዝመቱ 60 ሴንቲ ሜትር የሆነ ለብዙ ሥራ ይበቃል።

የጎንደር መሬት ተዳፋት የበዛበት በመሆኑ፣ ከግቢው አንድ ጫፍ እስከ ሌላው ከፍታ ማስተካከል ሲያስፈልግ አጭር ውሃ ልክ አያገለግልም። ለዚህ ከሁሉ የተሻለው 10 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ብርሃን የሚያሳልፍ ቀጭን የውሃ ጎማ ነው። ውሃ ይሙሉበት፤ ሁለቱን ጫፎች ክፍት አድርገው ከፍ ሲያደርጓቸው በሁለቱም በኩል ያለው የውሃ ፊት እኩል ከፍታ ይይዛል። አንድ ነገር ብቻ ይጠንቀቁ፦ በጎማው ውስጥ የታሰረ አየር ካለ ልኬቱ ይሳሳታል፤ ስለዚህ ሁለቱን ጫፎች ጎን ለጎን አቁመው ውሃው እኩል መሆኑን ካዩ በኋላ ይጀምሩ። የአሮጌ ቤት ግድግዳ ቀጥ ማለቱን ለማወቅ ቱምቢ ይጨምሩ፤ ክርና ክብደት ብቻ ስለሆነ አይሳሳትም።

ካሊፐር

ካሊፐር የውጭ ውፍረትን፣ የቀዳዳ ስፋትንና ጥልቀትን ይለካል። ለቤት ሠሪ ትልቁ ጥቅሙ ግን ዕቃ ሲገዛ ነው። ባለ 1.5 ሚሊ ሜትር ተብሎ የተሸጠ ቱቦላሬ ውፍረቱ 1.2 ሆኖ ከተገኘ ገዢው ከብረቱ አንድ አምስተኛውን አጥቷል። ሲለኩ ከተቆረጠው ጫፍ ላይ ሸካራውን በሊማ ጠርገው፣ ከብየዳው መስመርም ርቀው ይለኩ። የውሃ ቧንቧ ላይ ግን አይደናገሩ፤ ባለ ግማሽ ኢንች የሚባለው የብረት ቧንቧ የውጭ ስፋቱ 21.3 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ኢንች 25.4 ሚሊ ሜትር በመሆኑ ግማሹ 12.7 መሆን ነበረበት ብሎ ሻጩን መውቀስ አይገባም፤ ስያሜው የውጭውን ልክ አይገልጽም።

ዲጂታል ወይስ ባለ መስመር? እኔ ባለ መስመሩን እመርጣለሁ። ዲጂታሉ በማሳያው 0.01 ቢጽፍም፣ አብዛኛው ባለ 150 ሚሊ ሜትር ዲጂታል ካሊፐር 0.02 ወይም 0.03 ሚሊ ሜትር ስህተት ይፈቀድለታል፤ ርካሾቹ ደግሞ ጠፍተው እንኳ ባትሪ ይበላሉ። ዲጂታል ከገዙ ኤልአር 44 ከሚባለው ባትሪ ይልቅ ኤስአር 44 የተሻለ ይቆያል። የባለ መስመሩን የንባብ ዘዴ ያስተዋወቀው ፈረንሳዊው ፒየር ቬርኒየር ሲሆን፣ ዘመኑም እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር 1631 ነበር፤ ዐፄ ፋሲለደስ ጎንደርን መናገሻ ከማድረጋቸው 5 ዓመት ቀደም ብሎ ማለት ነው። ንባቡ ጥቂት ልምምድ ይጠይቃል፦ ከመንጋጋው ጋር የሚንቀሳቀሰው የተንሸራታቹ ዜሮ በቋሚው መስመር ላይ 22ን አልፎ 23 ካልደረሰ ሙሉው ቁጥር 22 ነው፤ ከዚያ ከተንሸራታቹ መስመሮች ውስጥ ከቋሚው መስመር ጋር ፍጹም የገጠመውን ይፈልጉ፤ እርሱ 3 ተኩል ላይ ከሆነ ልኬቱ 22.35 ሚሊ ሜትር ነው። ሲያነቡ ዓይንዎ ከመስመሩ ፊት ለፊት ይሁን፤ ከጎን ያየ ሰው ይሳሳታል።

መደብሩ ውስጥ መንጋጋዎቹን ዘግተው ወደ ብርሃን ያንሱት። በመካከላቸው ብርሃን ከታየ ወይም ዜሮው ከዜሮ ጋር ካልገጠመ አይግዙት። ተንሸራታቹ ያለ መንቀጥቀጥ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ በእኩል ጥብቀት መሄድ አለበት። ቀጥሎ ከመኪና መለዋወጫ መደብር አንድ አዲስ ኩሽኔታ ይግዙ። በርካሽ የሚገኝ እጅግ ትክክለኛ ዕቃ ከዚህ የበለጠ አላውቅም። 6202 የሚል ቁጥር ያለው የውጭ ስፋቱ 35፣ የውስጡ 15 ሚሊ ሜትር ነው፤ በደንቡ የተሠራ ከሆነ የውጭው ልክ የሚጎድለው ቢበዛ በሚሊ ሜትር መቶኛ አካባቢ ነው። ካሊፐርዎ ውጩን 35.00 ወይም ወደዚያ እጅግ የቀረበ ካነበበ ይተማመኑበት። የጎን ውፍረቱ 11 ሚሊ ሜትር ቢሆንም እስከ አንድ አሥረኛ ሊያንስ ስለሚችል ለመፈተሻ አይጠቀሙበት። ውስጡን ሲለኩም የትንሿ መንጋጋ ፊት ጠፍጣፋ በመሆኑ በጥቂቱ አሳንሳ ልታነብ ትችላለች።

በክረምቱ እርጥበት ካሊፐሩ እንዳይዝግ፣ ሥራ ሲያበቃ በቀጭን ዘይት በራሰ ጨርቅ ጠርገው መንጋጋዎቹን ትንሽ ከፍተው በሣጥኑ ያስቀምጡት፤ ሞርሳው አጠገብ ከብረት ፍቅፋቂ ጋር አይተዉት። ኩሽኔታውንም በተመሳሳይ ጨርቅ ጠቅልለው ከጎኑ ያኑሩት፤ ካሊፐሩ በወደቀ ቁጥር፣ ቀጣዩን ሥራ ከመጀመርዎ በፊት፣ መጀመሪያ ኩሽኔታውን ይለኩበት።