በቻርት የተገዛ በቻርት ይሸጥ፦ ቴክኒካልና መሠረታዊ ትንተናን ሳያምታቱ ስለ መጠቀም

ወደ አክሲዮን ግብይት የሚገባ ሰው ብዙም ሳይቆይ ከሁለት ወገኖች ለአንዱ እንዲያድር ይጠየቃል። አንደኛው ወገን ቴክኒካል ትንተና የሚባለውን ይከተላል፤ የዋጋውን እንቅስቃሴና የተገበያየውን የአክሲዮን ብዛት በቻርት ላይ እየተመለከተ ቀጣዩን አቅጣጫ ለመገመት ይሞክራል። ሁለተኛው መሠረታዊ ትንተናን ይይዛል፤ የኩባንያውን ሽያጭ፣ ትርፍ፣ ዕዳና የገንዘብ ፍሰት መርምሮ አክሲዮኑ በእርግጥ ስንት ሊያወጣ እንደሚገባው ያሰላል። ከመደበኛ ሥራዬ ጎን ለጎን በራሴ ገንዘብ የምገበያይ ሰው እንደ መሆኔ፣ የትኛው ይበልጣል የሚለው ክርክር ለእንደኔ ዓይነቱ ሰው እምብዛም አይጠቅምም ባይ ነኝ። የሚመልሱት ጥያቄ የተለያየ ነውና። መሠረታዊ ትንተና ምን እንደምንገዛና እስከ ስንት ብንከፍል እንደሚያዋጣን ይነግረናል፤ ቻርት ደግሞ መቼ እንደምንገባና ግምታችን አለመስመሩን በምን እንደምናውቅ ያሳየናል።

ገንዘብ የሚበላው ጥፋት ሁለቱን መቀላቀል ነው፤ ያውም በግዢው ጊዜ ሳይሆን ከግዢው በኋላ። አንድ ሰው የዋጋው መስመር ሽቅብ ሲወጣ አይቶ፣ ስለ ኩባንያው አንዲት ገጽ እንኳ ሳያነብ ይገዛል። ዋጋው ሲወርድበት ግን በቻርቱ ሕግ መሠረት ሸጦ መውጣት ሲገባው፣ ያን ጊዜ የኩባንያውን ታሪክ ማንበብ ይጀምርና “ድርጅቱ እኮ ጠንካራ ነው” በማለት የረጅም ጊዜ ባለሀብት ይሆናል። ግልባጩም አለ፦ የሂሳብ መግለጫዎችን ለሳምንታት አጥንቶ ለአምስት ዓመት ሊይዘው የገዛውን አክሲዮን፣ ዋጋው ከአንድ ተንቀሳቃሽ አማካይ (ካለፉት የተወሰኑ ቀናት አማካይ ዋጋ) በታች ስለወረደ ብቻ በሦስተኛው ሳምንት የሚሸጠው ሰው። ከዚህ በታች የማቀርበው አሠራር በዋነኛነት ይህን መቀላቀል ለመከላከል የታሰበ ነው።

በመጀመሪያ ሂሳቡን ማንበብ

የኩባንያውን ዓመታዊ ሪፖርት ይክፈቱ። በአሜሪካ ገበያ የተመዘገቡ የአሜሪካ ኩባንያዎች ቴን-ኬ የሚባለውን ዓመታዊ ሪፖርታቸውን ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት የማስገባት ግዴታ አለባቸው፤ ማንም ሰው ኤድጋር በተባለው የመረጃ ቋት ያለ ክፍያ ያገኘዋል። ብዙ ሰው ንባቡን የሚጀምረው ከትርፍና ኪሳራ መግለጫው ነው፤ እኔ ግን ከገንዘብ ፍሰት መግለጫው እንዲጀመር እመክራለሁ። ትርፍ በሂሳብ አያያዝ ምርጫዎች ላይ የተመሠረተ አሃዝ በመሆኑ ሳይዋሽም ሊለጠጥ ይችላል፤ በእርግጥ የገባ ጥሬ ገንዘብን ለዓመታት ማስመሰል ግን እጅግ አስቸጋሪ ነው። ኩባንያው 100 ሚሊዮን ዶላር አተረፍኩ እያለ ከመደበኛ ሥራው የገባው ገንዘብ 20 ሚሊዮን ብቻ ከሆነ፣ የቀረው 80 ሚሊዮን የት እንደገባ መፈለግ ያስፈልጋል።

አብዛኛውን ጊዜ መልሱ የሚገኘው በሀብትና ዕዳ መግለጫው ላይ ነው። ሽያጭ በ10 በመቶ አድጎ ተሰብሳቢ ሂሳብ በ40 በመቶ ካደገ፣ ኩባንያው ዕቃውን የሚሸጠው ገንዘባቸውን ገና ላልከፈሉ፣ ምናልባትም ለማይከፍሉ ደንበኞች ነው ማለት ይሆናል። የዕቃ ክምችት ከሽያጭ ፈጥኖ ካደገም መጋዘን ውስጥ ያለው ዕቃ ፈላጊ አጥቶ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ወደ ዕዳው ማለፍ ነው፤ የዕዳው መጠን ብቻ ሳይሆን የመክፈያው ቀንም መታየት አለበት፤ ምክንያቱም በዝቅተኛ ወለድ የተወሰደ ብድር የወለድ ምጣኔው ከፍ ባለበት ዓመት የሚታደስ ከሆነ የነገው ትርፍ ከዛሬው ተነስቶ ሊገመት አይችልም። በመጨረሻም በገበያ ላይ ያሉት አክሲዮኖች ብዛት ከዓመት ዓመት እየጨመረ መሆን አለመሆኑን ማየት ይገባል፤ አጠቃላይ ትርፉ እያደገ የእያንዳንዱ አክሲዮን ድርሻ ባለበት የሚረግጥባቸው ኩባንያዎች ጥቂት አይደሉም።

ዋጋው ውድ ነው ወይስ ርካሽ ለሚለው የተለመደው መለኪያ ፒኢ ሬሾ ነው። አክሲዮኑ 60 ዶላር ቢሸጥና በዓመት ለአንድ አክሲዮን የሚደርሰው ትርፍ 4 ዶላር ቢሆን ሬሾው 15 ይሆናል። አሃዙን መገልበጥ የበለጠ ይናገራል፦ 4 ለ60 ሲካፈል ወደ 6.7 በመቶ ይመጣልና፣ ይህን ከመንግሥት ቦንድ ወለድ ጎን አስቀምጦ ለተሸከምነው ሥጋት የሚበቃ ብልጫ መኖሩን መጠየቅ ይቻላል። ሆኖም ዝቅተኛ ፒኢ ሁልጊዜ ርካሽነትን አያመለክትም። እንደ ብረታ ብረትና መርከብ ሥራ ባሉ ውጣ ውረድ በሚበዛባቸው ዘርፎች ሬሾው እጅግ ዝቅ ብሎ የሚታየው ትርፉ ጫፍ ላይ በደረሰበት፣ ማለትም ሊወርድ በተቃረበበት ጊዜ ነው።

ጥሩ ኩባንያና ጥሩ ግዢ አንድ አለመሆናቸውን የኔትወርክ መሣሪያዎች አምራቹ ሲስኮ በሚገባ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በማርች 2000 የአንድ አክሲዮኑ ዋጋ ወደ 80 ዶላር ደርሶ ለአጭር ጊዜ በዓለም ከፍተኛ የገበያ ዋጋ ያለው ኩባንያ ሆኖ ነበር፤ በኦክቶበር 2002 ግን ዋጋው ከ10 ዶላር በታች ወረደ። ኩባንያው አልፈረሰም፤ ሽያጩም በኋለኞቹ ዓመታት ከ2000 እጅግ በልጦ አደገ። የተሳሳተው የተከፈለው ዋጋ ነበር።

ቻርቱ የሚጨምረው

ሂሳብ አንባቢዎች ቻርትን እንደ ኮከብ ቆጠራ ሲያጣጥሉ መስማት የተለመደ ነው። በዚህ አልስማማም። የሂሳብ መግለጫ የሚመጣው በየሩብ ዓመቱ ሲሆን ያውም ያለፈውን ነው የሚናገረው፤ ከዚህም በላይ የሚጽፉት የኩባንያው ሰዎች ናቸው። የአሜሪካው የኃይል ኩባንያ የኤንሮን አክሲዮን እ.ኤ.አ. በኦገስት 2000 ወደ 90 ዶላር ይሸጥ ነበር። በ2001 የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሩብ ዓመታት ኩባንያው ጥሩ ትርፍ ማግኘቱን ቢያስታውቅም ዋጋው ለወራት ቁልቁል ይወርድ ነበር፤ በኦክቶበር 16 ቀን 2001 የ618 ሚሊዮን ዶላር ኪሳራ ሲገለጽ አክሲዮኑ አስቀድሞ ከግማሽ በላይ ዋጋውን አጥቷል። በዲሴምበር 2 ኩባንያው የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። ሪፖርቱን ያመነ ሰው እስከ መጨረሻው አብሮ ሲሰምጥ፣ ዋጋው ለምን እንደሚወርድ ባያውቅም መውረዱን ያከበረ ሰው ቀደም ብሎ ወጥቷል።

ጥናትም ቢሆን ለቻርት ሙሉ በሙሉ ጀርባውን አልሰጠም። የፋይናንስ ተመራማሪዎቹ ጀጋዲሽና ቲትማን እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተሙት ጥናት ባለፉት 3 እስከ 12 ወራት ከሌሎች በተሻለ ሁኔታ የጨመሩ አክሲዮኖች በቀጣዮቹ ወራትም የመብለጥ ዝንባሌ እንዳላቸው አሳይተዋል፤ ይህ ሞመንተም የሚባለው ነው። እዚህ ላይ የሚደገፈው የወራት አዝማሚያ መሆኑን ልብ ይሏል። ከዚህ ተነስቶ የአምስት ደቂቃ ቻርት ላይ ተጥዶ መዋል፣ መደበኛ ሥራ ላለው ሰው፣ ትርፉን ለኮሚሽንና በመግዣና በመሸጫ ዋጋ መካከል ላለው ልዩነት ማስረከብ ነው።

ስለዚህ ሳምንታዊውን ቻርት መጠቀም ይሻላል። ዋጋው ለአክሲዮን ክፍፍልና ለትርፍ ድርሻ የተስተካከለ መሆኑን ያረጋግጡ፤ አለዚያ አንዱ ለሁለት በተከፈለበት ቀን ግማሽ ዋጋ የጠፋ ይመስላል። የብዙ ዓመታት ቻርት ሲታይ ደግሞ ሎጋሪዝማዊ ሚዛን ይመረጥ፤ ከ10 ወደ 20 መውጣትና ከ100 ወደ 200 መውጣት እኩል ርቀት ሆነው የሚታዩት በእሱ ነው። ለመሣሪያነት የ200 ቀን ተንቀሳቃሽ አማካይ፣ የግብይት መጠንና ዋጋው ቀደም ሲል የተመለሰባቸው ከፍታዎችና ዝቅታዎች ይበቃሉ።

ጠቋሚዎችን መደራረብ ግን ከንቱ ነው። የቴክኒካል ትንተና ባለሙያው ዌልስ ዋይልደር እ.ኤ.አ. በ1978 ያስተዋወቀው አርኤስአይ (የዋጋውን የመውጣትና የመውረድ ብርታት ከ0 እስከ 100 የሚለካ ጠቋሚ)፣ የማክዲ መስመሮች፣ ስቶካስቲክ፣ ሁሉም የሚሠሩት ከዚያው ከአንዱ የዋጋ መዝገብ ነው። ሦስቱም “ግዛ” ቢሉ አንድ ምስክር ልብሱን እየቀያየረ ሦስት ጊዜ ቀረበ እንጂ ሦስት ምስክር አልተገኘም። አርኤስአይ ከ70 በላይ ሲወጣ “ከመጠን በላይ ተገዝቷል” ብሎ መሸጥም አደገኛ ልማድ ነው፤ በብርቱ አዝማሚያ ውስጥ ጠቋሚው ከ70 በላይ ለሳምንታት ሊቆይ ይችላል።

ከመግዛት በፊት የሚጻፍ ገጽ

ሁለቱ ንባቦች ካለቁ በኋላ፣ ትዕዛዙ ከመላኩ በፊት፣ አንድ ገጽ መጻፍ ያስፈልጋል። በገጹ ላይ የግዢው ምክንያት የትኛው እንደሆነ፣ ለምን ያህል ጊዜ ለመያዝ እንደታሰበ፣ ምን ቢከሰት እንደሚሸጥና ስንት አክሲዮን እንደሚገዛ ይሰፍራል። ዋናው ሕግ የመሸጫው ምክንያት ከመግዣው ምክንያት ጋር አንድ ዓይነት መሆኑ ነው።

ምክንያቱ ቻርት ከሆነ የመውጫው ዋጋ አስቀድሞ በቁጥር ይታወቃል። ለዚህ የዋይልደር ሌላው መሣሪያ፣ አማካዩን የዕለት መዋዠቅ የሚለካው ኤቲአር፣ ጠቃሚ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። አክሲዮኑ 100 ዶላር፣ ኤቲአሩም 4 ዶላር ቢሆን፣ የመዋዠቁን እጥፍ ቀንሶ ስቶፕ ሎሱን፣ ማለትም ዋጋው እዚያ ሲደርስ በራሱ የሚሸጠውን ትዕዛዝ፣ 92 ላይ ማድረግ ይቻላል፤ ከዚህ ያነሰ ርቀት ከሆነ ተራ የዕለት ውጣ ውረድ ሊያስወጣን ይችላል። ጠቅላላው ገንዘብ 20,000 ዶላር ቢሆንና በአንድ ግዢ ከ1 በመቶ በላይ ላለማጣት ብንወስን፣ የምንፈቅደው ኪሳራ 200 ዶላር ነው፤ 200ን ለ8 ስናካፍል 25 አክሲዮን እናገኛለን፤ የምናወጣውም 2,500 ዶላር ይሆናል። ኤቲአሩ 2 ዶላር ቢሆን ኖሮ በዚያው ስሌት 50 አክሲዮን መግዛት ይቻል ነበር። የሚገዛውን ብዛት የሚወስነው የመዋዠቁ መጠን ነው፤ ስሜታችን እዚህ ውስጥ ቦታ የለውም።

ስቶፕ ሎስ ግን ዋስትና አይደለም። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 3 ቀን 2022 የፌስቡክ ባለቤት የሆነው የሜታ አክሲዮን የሩብ ዓመት ውጤቱ በተገለጸ ማግሥት በአንድ ቀን 26 በመቶ ወረደ፤ ገበያው ሲከፈት ዋጋው ብዙ ደረጃ ዘልሎ ስለነበር 8 በመቶ ዝቅ ብሎ የተቀመጠ ትዕዛዝ የሚፈጸመው ከዚያ በእጅጉ ባነሰ ዋጋ ነው። ከላይ ባለው ምሳሌ የታሰበው የ200 ዶላር ኪሳራ ወደ 650 ይጠጋል ማለት ነው። በቻርት የተገዛ አክሲዮን የውጤት መግለጫ ቀኑ ሲቃረብ መጠኑን መቀነስ ወይም መውጣት የሚመከረው ለዚህ ነው።

ምክንያቱ መሠረታዊ ትንተና ከሆነ መውጫውም በኩባንያው ሁኔታ ይጻፋል፦ ለምሳሌ ከሥራ የሚገባው ገንዘብ ለሁለት ተከታታይ ዓመታት ከትርፉ በእጅጉ ካነሰ፣ ዕዳው ከተወሰነ መጠን ካለፈ፣ ወይም ዋጋው ካሰላነው ግምት እጅግ በልጦ ከሄደ። የዋጋ መውረድ ብቻውን የመሸጫ ትእዛዝ አይሆንም፤ የመመርመሪያ ትእዛዝ ግን ነው። ከኤንሮን መወሰድ ያለበትም ይህ ነው፤ ዋጋው ያለ ግልጽ ምክንያት ከ200 ቀን አማካዩ በታች ለወራት ከቆየ፣ ሪፖርቱን ከግርጌ ማስታወሻዎቹ ጀምሮ እንደ አዲስ ማንበብ ይገባል። ዋጋው በወረደ ቁጥር ተጨማሪ መግዛትም ለዚህኛው ዓይነት ግዢ ብቻ የሚፈቀድ ሲሆን፣ ያውም አዲሱ የሩብ ዓመት ሪፖርት ከተነበበ በኋላ መሆን አለበት።

አንድን አክሲዮን በሁለቱም ምክንያት የሚፈልግ ሰው ይኖራል። ይህ ክልክል አይደለም፤ ግዢው ለሁለት ተከፍሎ ለእያንዳንዱ የየራሱ ገጽ ይጻፍለት፤ ቢቻል በተለያየ ሂሳብ ይያዝ። የቻርቱ ድርሻ 92 ላይ ሲሸጥ ሌላው ድርሻ ባለበት መቆየቱ እርስ በርሱ የሚጋጭ ቢመስልም አይደለም፤ ሁለቱ የተገዙት ለተለያየ ጊዜና ለተለያየ ዓላማ ነው።

ገጾቹ ከተጠራቀሙ በኋላ፣ በዓመት አንድ ጊዜ፣ በሁለት ክምር ለያይቶ የእያንዳንዱን ዓይነት ውጤት ማስላት ያስፈልጋል፤ ኮሚሽንና ግብር ተቀንሶ፣ የተዘጉትም ገና ያልተሸጡትም ተካትተው። ውጤቱ የሚነጻጸረው ያው ገንዘብ በሰፊ ኢንዴክስ ፈንድ (የብዙ ኩባንያዎችን አክሲዮን በአንድነት በሚይዝና ገበያውን በሚከተል ፈንድ) ውስጥ ቢቀመጥ ሊያስገኝ ይችል ከነበረው ጋር ነው። በአንደኛው ክምር ለተከታታይ ዓመታት ብልጫ ካልታየ፣ ያ ክምር የያዘውን ገንዘብ ወደ ኢንዴክሱ አዙሮ፣ ለመማሪያ የሚሆን ትንሽ መጠን ብቻ ማስቀረት ይቻላል።