ቤዚክ ትሬኒንግ ከመግባታችሁ በፊት፦ የሚሆናችሁን ስፖርት እንዴት ትመርጣላችሁ?

ግሪን ካርድ ይዘው አሜሪካ ገብተው ለውትድርና የሚመዘገቡ የሐበሻ ልጆች አሉ። አንዱ ለትምህርት ክፍያው፣ አንዱ ዜግነቱን ቶሎ ለማግኘት፣ አንዷ ደግሞ ከልጅነቷ ጀምሮ ስለምትመኘው። ከፈረሙ በኋላ ቤዚክ ትሬኒንግ (የመጀመሪያው የወታደር ስልጠና) እስኪገቡ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይኖራቸዋል። በዚህ ጊዜ ሁሉም መካሪ ነው። ጓደኛ "ሩጥ" ይላል፣ ጂም የሚያዘወትረው "ብረት አንሳ" ይላል፣ ስልኩ ደግሞ ጭቃ ውስጥ የሚንከባለሉ ኮማንዶዎች ያሳያል። እኔ የምለው አንድ ነው፦ ስልጠናችሁን የሚመርጥላችሁ ፈተናውና ደካማ ጎናችሁ ነው። ሌላው ወሬ ነው።

መጀመሪያ ፈተናውን እወቁ

ምድር ጦር፣ ባህር ኃይል፣ ማሪን፣ አየር ኃይል፣ ሁሉም የየራሱ ፈተና አለው። እዚህ የምናወራው በዋናነት ስለ ምድር ጦሩ ነው። ከሰኔ 2025 ጀምሮ ምድር ጦሩ የሚጠቀመው ፈተና አምስት ነገር አለው፦ ሦስት ጊዜ የሚነሳ ከባድ ዴድሊፍት (ብረት ከመሬት ማንሳት)፣ እጅ ከመሬት የሚነሳበት ፑሽአፕ፣ ሩጫና ጉተታ ሸክምም የተቀላቀለበት 250 ሜትር፣ ፕላንክ (በክርንና በእግር ጣት ተደግፎ ሰውነትን ቀጥ አድርጎ መቆየት)፣ በመጨረሻም የ2 ማይል ሩጫ። እያንዳንዱ ከ100 ነው የሚታረመው። በእያንዳንዱ ቢያንስ 60፣ በድምሩ 300 ያስፈልጋል። እግረኛን ለመሳሰሉ የውጊያ ሙያዎች ድምሩ 350 ነው፣ መለኪያውም ለወንድና ለሴት አንድ ነው። ስለዚህ ስፖርት ከመምረጣችሁ በፊት የፈረማችሁበት ሙያ የትኛው ውስጥ እንደሚወድቅ ሪክሩተራችሁን (የመዘገባችሁን የጦሩን ሰው) ጠይቁት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። እኛ ሐበሾች "ሩጫ በደማችን ነው" እንላለን፣ ደስም ይላል፣ ግን ከአምስቱ ረጅም ሩጫ አንዱ ብቻ ነው! ሩጫ ብቻ ሰርቶ የሚሄድ ልጅ ዴድሊፍቱና ጉተታው ላይ ወገቡን ይዞ ይቀራል።

ቀጥሎ ራሳችሁን ለኩ

ሰፈራችሁ ካለ ሃይስኩል የሩጫ ሜዳ ሂዱ። ሁለት ማይል በ400 ሜትሩ መም ስምንት ዙር ነው ማለት ይቻላል። ተሟሟቁ፣ የሁለት ደቂቃ ፑሽአፕ ስሩ፣ አረፍ ብላችሁ ፕላንክ ያዙ፣ በመጨረሻ ሩጡ፣ ሁሉንም ጻፉት።

ፑሽአፑን በትክክል ስሩት። ደረት መሬት ይነካል፣ ሁለቱም እጅ ወደ ጎን ሙሉ ለሙሉ ይዘረጋል፣ ይመለሳል፣ ከዚያ ሰውነት ከትከሻ እስከ ቁርጭምጭሚት ቀጥ እንዳለ ባንድ ላይ ይነሳል። ዳሌ ከኋላ ከቀረ አይቆጠርም። ጂም ውስጥ 40 የሚሰራ ሰው እንዲህ ሲሰራው ቁጥሩ ቢያሽቆለቁል እንዳይደነግጥ። ዴድሊፍቱን ግን በመጀመሪያው ቀን በከባድ አትሞክሩት። አነሳሱን የሚያሳያችሁ ሰው ፈልጉ፣ በቀላል ብረት ጀምሩ።

አሁን ምረጡ

የሰውነት ግንባታ ለመስታወት ጥሩ ነው። ደረትና ክንድ ያወፍራል፣ ትንፋሽ ግን አይሰጥም። ረጅም ሩጫ ብቻ ከሆነ ደግሞ ትንፋሽ አለ፣ ጉልበት የለም። ሁሉንም በሩጫና በጥድፊያ የሚያሰሩ ከባድ የቡድን ስልጠናዎች ፈተናውን ይመስላሉ፣ ግን ለጀማሪ በሳምንት አምስት ቀን እነሱን መስራት ለጉዳት መጋበዝ ነው። ብዙውን ሰው የሚያዋጣው ቅልቅሉ ነው፦ ሦስት ቀን ሩጫ፣ ሁለት ቀን ጉልበት፣ አንድ ቀን ረጅም እርምጃ፣ አንድ ቀን እረፍት። ሩጫችሁ ደካማ ከሆነ ሦስቱን የሩጫ ቀን አትንኩ። ሩጫው ደህና ሆኖ ብረቱ የሚከብዳችሁ ከሆነ አንዱን የሩጫ ቀን ወደ ጉልበት አዙሩት።

በጉልበቱ ቀን ዴድሊፍት፣ ስኳት (ቁጭ ብድግ)፣ ፑሽአፕና ሸክም ይዞ መሄድ ይበቃል። ጂም የመክፈያ ገንዘብ ከሌላችሁም አይጨንቃችሁ። በፈተናው ላይ በሁለት እጅ አንድ አንድ የሚያዘው ኬትልቤል (እጀታ ያለው የብረት ክብደት) እያንዳንዱ 40 ፓውንድ፣ ወደ 18 ኪሎ ነው። ሀገር ቤት ውሃ የቀዳንበት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲሞላ 20 ኪሎ ይመዝናል። ሁለት ጀሪካን ሞልታችሁ 25 ሜትር ሄዳችሁ ተመለሱ፣ አስቀምጡ፣ ተንፍሱ፣ ድገሙት። መጀመሪያ የሚደክመው ክንድ ሳይሆን ጣት መሆኑን ታያላችሁ። የጣት ጥንካሬ ደግሞ ዴድሊፍቱንም ያግዛል።

ሩጫው ላይ አትቸኩሉ

ሰው የሚጎዳው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ነው። ስድስት ወር ሶፋ ላይ ተቀምጦ ከርሞ "አንድ ወር ቀረኝ" ሲል በየቀኑ አምስት ማይል የሚሮጥ ልጅ ሳንባው ይለምድለታል፣ አጥንቱ ግን አይደርስለትም። አጥንትና ጅማት ከጡንቻ ዘግይተው ነው የሚጠነክሩት። ቅልጥሙን ያመዋል፣ ችላ ሲለው አጥንቱ ይሰነጠቃል።

ከሦስቱ ቀን ሁለቱን ወሬ እያወራችሁ በምትችሉት ፍጥነት ሩጡ። ማውራት ካቃታችሁ ፈጥናችኋል። ሦስተኛው ቀን ፍጥነት ነው፦ 30 ሰከንድ ጠንከር አድርጎ ሩጫ፣ 60 ሰከንድ እርምጃ። ስድስት ጊዜ ጀምራችሁ ቀስ በቀስ ወደ አስር አድርሱት። ጦሩ ራሱ በስልጠናው የሚጠቀምበት አሰራር ነው። የሳምንቱን ርቀት ከአስር በመቶ በላይ አትጨምሩ። አጥንቱ ላይ አንድ ቦታ በጣት ሲነካ የሚያም፣ አርፋችሁም የማይለቅ ህመም ካለ ሐኪም ጋር ሂዱ። ታግሶ ማለፍ ጀግንነት አይደለም፣ የቤዚክ ትሬኒንጉ አስር ሳምንት መሃል ላይ አቋርጦ መቀመጥን ያመጣል።

የሸክሙም ነገር እንደዚያው ነው። የጀርባ ቦርሳ ውስጥ ሰባት ስምንት ኪሎ አድርጋችሁ በሳምንት አንዴ ተራመዱ፣ ክብደቱን በየሁለት ሳምንቱ ትንሽ ጨምሩ። ሸክም ይዛችሁ አትሩጡ።

ምግብና ጾም

ይሄንን ሌላ ቦታ የሚነግራችሁ የለም። ዓብይ ጾም 55 ቀን ነው፣ ዝግጅታችሁ መሃል ሊገባ ይችላል። ጾምና ስልጠና አይጣሉም፣ ግን ፓስታና ዳቦ ብቻ አይሆንም። ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላ፣ ሽምብራ፣ ኦቾሎኒ ከበድ አድርጋችሁ ብሉ። ከባዱን ስልጠና የዕለቱ ጾም ከተፈታ በኋላ አድርጉት። ረመዳንን የምትጾሙም ጠንካራውን ከኢፍጣር በኋላ፣ ቀለል ያለውን ከኢፍጣር ትንሽ ቀደም ብላችሁ ስሩ። ውሃ ሳይጠጡ በሐምሌ ፀሐይ መሮጥ ግን አይሞከርም።

ሴቶች የብረት መጠናችሁን ቀድማችሁ በደም ምርመራ እዩ። ከባድ ስልጠና ላይ ብረት ይወርዳል፣ ድካሙም "ሰነፈች" ያስብላል። ምስሩ ላይ ሎሚ ጭመቁ፣ ቡናና ሻዩን ከምግቡ ጋር ሳይሆን አንድ ሁለት ሰዓት ቆይታችሁ ጠጡ። ቡና ብረቱን ሰውነት እንዳይወስደው ያደርጋል።

ባህር ኃይል ከሆናችሁ

መዋኘት ተማሩ። ኢሊኖይ ግሬት ሌክስ ያለው የባህር ኃይሉ ማሰልጠኛ ስትገቡ ከከፍታ ወደ ጥልቅ ውሃ መዝለል፣ 50 ያርድ መዋኘት፣ አምስት ደቂቃ በሆድ ተንሳፍፎ መቆየት አለ። ሀይቅ ወይም ወንዝ ሳያይ ያደገ ብዙ ልጅ አለን። የማይችለውን እዚያ ያስተምሩታል፣ ግን ከሌላው ስልጠና ጋር ተደርቦ ነው፣ ይከብዳል። የከተማችሁ መዋኛ ገንዳ የጀማሪ ትምህርት ይኖረዋል። የውሃ ፍርሃት የሚለቀው በጊዜ ስለሆነ ከሁሉም በፊት ይህን ጀምሩ።

የመጨረሻው ሳምንት

ጠንካራውን ስልጠና ከመሄዳችሁ ሰባት ቀን በፊት አቁሙ። አጠር ያለ ሩጫ፣ ትንሽ ፑሽአፕ፣ ብዙ እንቅልፍ። የሌሊት ሽፍት የምትሰሩ ከሆነ ቢያንስ በዚያ ሳምንት ፈረቃችሁን አስቀይሩ፣ ምክንያቱም እዚያ የሚነሳው ጎህ ሳይቀድ ነው። ስንብት ብሎ ቤተሰብ ድግስ ማዘጋጀቱ አይቀርም፣ ከመነሻችሁ ዋዜማ ሳይሆን ሁለት ሦስት ቀን ቀደም ብሎ ይሁን በሏቸው።