ለአካል ጉዳተኞች የተለየ የመኪና ማቆሚያ እንዴት ይዘጋጃል? እንዴትስ ይጠበቃል?

በደብረ ብርሃን ሆቴሎችና ባንኮች ግቢ ውስጥ ሰማያዊው የዊልቸር ምልክት አልፎ አልፎ ይታያል። ከምልክቱ ሥር የሚቆመው ግን ብዙውን ጊዜ የቸኮለ ሰው መኪና ነው፤ አንዳንዴም የለስላሳ ሳጥን፣ ጀነሬተር ወይም የባለቤቱ ፒክአፕ። ቦታውን ማዘጋጀት ጥቂት ቀን ይፈጃል። እንዳይነጠቅ መጠበቁ ግን የየዕለት ሥራ ነው። እኅቴ በዊልቸር ትንቀሳቀሳለች፤ ወደ ሐኪም ቤት፣ ወደ ባንክና ወደ ሠርግ የማደርሳት እኔ ነኝ። ከዚህ በታች ያለው በሰሜን ሸዋ ከተሞች ከጥበቃዎች፣ ከሕንፃ ባለቤቶችና ከቀለም ቀቢዎች ጋር ስመላለስ የተማርሁት ነው። ሆቴል፣ ክሊኒክ፣ የገበያ ሕንፃ ወይም ሰው የሚበዛበት ግቢ ላለው ሁሉ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

ቦታውን መምረጥ

ለመግቢያው በር በጣም የቀረበውን ይምረጡ። ይህ ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ ሁለት ነገር ግን ልብ ይበሉ። አንደኛው የመሬቱ ልክ ነው። በ1 ሜትር ውስጥ ከ2 ሴንቲ ሜትር በላይ ካዘቀዘቀ፣ ሰውየው ከመኪናው ወደ ወንበሩ ሲሻገር ወንበሩ ሊሸሽበት ይችላል። በዐይን ግምት አይመኑ፤ የግንበኛ ውኃ ልክ ቀጥ ባለ ጣውላ ላይ አድርገው በርዝመትም በወርድም ይመልከቱ።

ሁለተኛው ባጃጅ ነው። በእኛ ከተሞች የራሱ መኪና ያለው አካል ጉዳተኛ ጥቂት ነው፤ አብዛኛው በባጃጅ ይመጣል። ስለዚህ ቦታው ባጃጅ ገብቶ፣ ሰውየውን በእርጋታ አውርዶ የሚወጣበትም መሆን አለበት። «መኪና ያለው አካል ጉዳተኛ እዚህ አይመጣም» እያሉ ቦታውን ለሌላ የሚሰጡ ባለቤቶች ይህን ይዘነጉታል። ባጃጁ ሌላ ተሳፋሪ ለመጠበቅ ግን ሊቆም አይገባም።

ልኩ፣ በተለይም መውረጃው

ለመኪናው 2.4 ሜትር ያህል ስፋት ይተዉ። ከጎኑ ደግሞ መውረጃ የምለው ባዶ ቦታ ያስፈልጋል፤ ቢቻል 1.5 ሜትር፣ ቢያንስ 1.2 ሜትር። ርዝመቱ 5 ሜትር ገደማ ይሁን። ሁለት ቦታዎችን ጎን ለጎን የሚያዘጋጁ ከሆነ አንድ መውረጃ መሐል ላይ አድርገው ሁለቱን ማገናኘት ይቻላል፤ ቦታም ይቆጥባል።

አሽከርካሪዎች ከሁሉ በላይ የሚያጠፉት ይህን መውረጃ ነው። ምክንያቱ ይገባኛል፤ ባዶ ሆኖ ሲታይ የተረፈ ቦታ ይመስላል። ሞተር ሳይክል ይቆምበታል፣ ባጃጅ ይሾልክበታል፣ ጎረቤት መኪናም ጎማውን ያሳርፍበታል። እኅቴ ከመኪና ስትወርድ የሚሆነውን ያየ ሰው ግን እንዲህ አያደርግም። በሩ እስከ መጨረሻው መከፈት አለበት። ዊልቸሩ ተዘርግቶ ከወንበሯ ጎን በትንሹ ሰያፍ ይጠጋል፣ ፍሬኑ በሁለቱም ጎማዎች ይያዛል፣ የእግር ማሳረፊያው ይታጠፋል። ከዚያ አንድ እጇን መኪናው ወንበር ላይ፣ ሌላውን ዊልቸሩ ላይ ተክላ ሰውነቷን ታሻግራለች። እኔ የምቆመው ከዊልቸሩ ኋላ ነው። የተከፈተው በር፣ ወንበሩና እኔ የምንቆምበት ተደምሮ ከ1 ሜትር በታች አይገባም።

የባሰው ደግሞ ስትመለስ ነው። ስንገባ ክፍት የነበረው መውረጃ ስንወጣ መኪና ቆሞበት ካገኘነው እኅቴ ወደ መኪናዋ መግባት አትችልም። እኔ ስላለሁ መኪናውን ወደ ኋላ አውጥቼ መንገዱ መሐል አሳፍራታለሁ፤ በእጅ ብቻ የሚነዳ መኪና ይዞ ብቻውን የመጣ ሰው ግን ባለመኪናው እስኪመለስ ብርዱ ላይ ይጠብቃል። የደብረ ብርሃንን የታኅሣሥ ምሽት ለሚያውቅ ሰው ከዚህ በላይ መንገር አያሻም።

መተላለፊያው

ከመውረጃው እስከ በሩ ያለው መንገድ ልሙጥ ይሁን፤ ስፋቱ ከ90 ሴንቲ ሜትር አይነስ። የዊልቸር የፊት ጎማዎች ትናንሽ ስለሆኑ በኮብልስቶን ድንጋዮች መካከል ይያዛሉ፤ ተቀማጩም ወደ ፊት ይደፋል። ግቢው ኮብልስቶን ከሆነ ከመውረጃው ጀምሮ እስከ በሩ ያለውን መስመር ብቻ አንሥተው ሲሚንቶ ቢያስፈስሱ ይሻላል። ሲሚንቶው ሳይደርቅ በመጥረጊያ ይጫሩት፣ በዝናብ እንዳያንሸራትት። ቴራዞና ሴራሚክ ለዚህ ቦታ አልመክርም። በሩ ላይ ደረጃ ካለ ለእያንዳንዱ 1 ሴንቲ ሜትር ከፍታ 12 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ዘቅዛቃ መንገድ ያስፈልጋል፤ ማለትም ለ15 ሴንቲ ሜትር ደረጃ 1.8 ሜትር። ለይስሙላ የተሠሩ ቀጥ ያሉ መውጫዎችን በየከተማው አይቻለሁ፤ ሁለት ጎረምሳ ካልደገፈ ማንም አይወጣባቸውም።

ቀለሙና ምልክቱ

ለግድግዳ የሚሆን የውኃ ቀለም አይግዙ፤ የመጀመሪያው ክረምት ይወስደዋል። የመንገድ ቀለም ይፈልጉ፤ በከተማዎ ካላገኙ ከአዲስ አበባ ማስመጣት ይሻላል። በኮብልስቶን ላይ ሲቀቡ በድንጋዮቹ መካከል ያለውን አፈር በሽቦ ብሩሽ ያስወጡ፣ ይጠቡት፣ በደንብ እስኪደርቅ ይተዉት። ስስ አድርገው ሁለት ጊዜ ይቀቡ። የመጀመሪያው ቀለም ላይ የታጠበ ደቃቅ አሸዋ ቢነሰንሱ እግርም ጎማም አያንሸራትትም።

ጊዜው ከጥቅምት እስከ ጥር ነው፤ ነገር ግን በማለዳ አይጀምሩ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ስለሆነች ጠዋት መሬቱ ውርጭ ወይም ጤዛ ይዞ ያድራል፤ በእርጥብ ድንጋይ ላይ የተቀባ ቀለም ደግሞ ተልጦ ይነሣል። ፀሐይ መሬቱን ካሞቀች በኋላ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ገደማ ይጀምሩ፣ ማታ ብርዱ ሳይመለስ እንዲደርቅ እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ይጨርሱ። ቆላማዋ ሸዋ ሮቢት ያሉት ይህ ጭንቀት የለባቸውም፤ እዚያ ቀለሙ ቶሎ ይደርቃል።

በመኪናው ቦታ መሐል ምልክቱን፣ በመውረጃው ላይ ደግሞ ሰያፍ መስመሮችን ይሥሩ። ምልክቱን ራስዎ አይፍጠሩ፤ ከ1968 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዓለም የሚያውቀው ሰማያዊና ነጭ ሥዕል አለ፤ በላሜራ አስቆርጠው በላዩ ይቀቡ። የመሬቱ ቀለም መኪና ሲቆምበት ስለማይታይ የቆመ ምልክትም ያስፈልጋል፤ የታችኛው ጠርዝ ከመሬት 1.5 ሜትር ከፍ ያለ፣ በብረት ቋሚ ላይ የተበየደ። ከሥሩ በአማርኛ «ለአካል ጉዳተኞች ብቻ። መስመር የተሰመረበት ቦታ ላይ አይቁሙ» ብለው ያጽፉ። ሁለተኛውን ዐረፍተ ነገር አይተዉት።

ሰንሰለት፣ ድንጋይና የፕላስቲክ ኮን አያስቀምጡ። ባለቤቶች ይህን ይወዱታል፤ እኔ ግን በጣም እቃወመዋለሁ። ብቻውን እየነዳ የመጣ ዊልቸር ተጠቃሚ ሰንሰለቱን ለመፍታት ከመኪናው መውረድ አለበት፤ መውረድ የሚችለው ደግሞ ሰንሰለቱ ሲፈታ ነው። እንዲህ ያለ ቦታ ለማንም አልተዘጋጀም።

ጥበቃው

ከባዱ ሥራ ይህ ነው። ቀለሙ ብቻውን ማንንም አይመልስም፤ የሚመልሰው በሩ ላይ ያለው ሰው ነው። ያ ሰው ግን በግቢው ውስጥ ዝቅተኛውን ደመወዝ የሚያገኝ ሲሆን፣ እንዲመልስ የሚጠበቀው ደግሞ ከባለቤቱ ጋር የሚጨባበጥ ደንበኛን ነው። አንድ ቀን «ተወው፣ የእኛ ሰው ነው» ከተባለ ነገሩ አበቃ፤ በማግስቱ አፉን አይከፍትም፤ አልፈርድበትምም።

ስለዚህ ከጥበቃው በፊት ባለቤቱ ይጀምር። የራሱ መኪና ለአፍታም ቢሆን እዚያ አይቁም። ቦታው ለማን እንደሆነ የሚገልጽ አጭር ደብዳቤ ፈርሞና ማኅተም አድርጎ ለጥበቃው ይስጠው፤ በፕላስቲክ ተለብጦ ጥበቃ ቤቱ ላይ ይለጠፍ። ማኅተም ያለው ወረቀት በእኛ አገር ክብደት አለው፤ ጥበቃውም «የእኔ ትእዛዝ አይደለም» ለማለት ይረዳዋል። ከዚያ ጥበቃው ከሰው ጋር ቢከራከር እንኳ ባለቤቱ በሰው ፊት አይሻረው።

ቀጥሎ የሚናገርበት ጊዜ ነው። መኪናው ገና ሲታጠፍ መናገር አለበት። አሽከርካሪው የእጅ ፍሬን ስቦ፣ ሞተር አጥፍቶ፣ በሩን ቆልፎ ከወረደ በኋላ መመለስ ለእሱ ሽንፈት ይሆንበታል፤ ጥፋቱን እያወቀም ይሟገታል። ስለዚህ ጥበቃው ግቢው በሚሞላበት ሰዓት ጥበቃ ቤቱ ውስጥ ሳይሆን ከቦታው አጠገብ ይቁም። ከአዲስ አበባ ማልዶ የተነሣ የደሴ መንገደኛ 130 ኪሎ ሜትሩን ጨርሶ ደብረ ብርሃን የሚደርሰው በቁርስ ሰዓት ነው፤ በመንገዱ ዳር ላሉ ሆቴሎች ጭንቁ ያን ጊዜ ነው።

የሚናገረውንም አብረው ይወስኑ። «እዚህ ማቆም ክልክል ነው» ከማለት ይልቅ ሌላ ቦታ ይዞ መቅረብ ይሻላል፦ «ጋሼ፣ ይህ ለአካል ጉዳተኞች የተያዘ ነው፤ ከወዲያ ጥግ ላይ ቦታ አለ፣ ይምጡ ላሳይዎት።» ለሴት ከሆነ «እትዬ» ብሎ፣ ጥበቃው በዕድሜ ከገፋ ደግሞ «ልጄ» ብሎ። ተከትሎ የሚመጣው መልስ የታወቀ ነው። «ሁለት ደቂቃ ብቻ» ለሚል፦ «ሰውየው በዚያች ሁለት ደቂቃ ቢመጣ የሚወርድበት የለውም።» «መኪናው ውስጥ ሰው አለ፣ ያነሣዋል» ለሚል፦ «እንግዲያው ከወዲያ ሆኖ ይጠብቅዎት።» «ማንም የለም እኮ» ለሚል መልሱ አጭር ነው፤ ሲመጣ ባዶ ሆኖ እንዲያገኘው ነው የተተወው።

ቦታው የሚገባው ለማን ነው?

አካል ጉዳተኛው እየነዳ ወይም ተሳፍሮ ለመጣበት መኪና ነው። እኔ እኅቴን ሳልይዝ ብቻዬን ከሄድሁ ቦታው አይገባኝም፤ መኪናው ላይ ምልክት ቢለጠፍም ያው ነው። ዘመድ መሆን ብቻውን መብት አይሰጥም።

ጉዳት ሁሉ ግን አይታይም። ሱሪ ለብሶ የሚራመድ ሰው ሰው ሠራሽ እግር ሊኖረው ይችላል፤ የልብ ሕመምተኛም ሃያ እርምጃ ሊያቅተው ይችላል። ጥበቃው «ምንዎን ነው?» ብሎ አይመርምር። «ቦታው ያስፈልግዎታል?» ብሎ ይጠይቅ፤ «አዎ» ካሉት ይመን። አንድ አታላይ ቢያልፍ ይሻላል እንጂ አንድ ሕመምተኛ በሰው ፊት ጉዳቱን እንዲያሳይ መገደድ የለበትም። በዚሁ ምክንያት የቆሙ መኪናዎችን ፎቶ አንሥቶ ፌስቡክ ላይ ማሳጣትን አልደግፍም። ጎማ ማስተንፈስማ ወንጀል ነው።

የጥር ሠርግ

በጥር ወር የሠርግ አዳራሽ ያለው ሆቴል ሁሉ ይፈተናል። ያጌጠው የሙሽራ መኪና ለበሩ ቅርብ መቆም ይፈልጋል፤ ሚዜዎችም ጥበቃውን አይሰሙም። ይህን በዕለቱ ለመከልከል አይሞክሩ። አዳራሹ ሲከራይ ውሉ ላይ አንድ መስመር ያስገቡ፣ ለሙሽሮቹ መኪናም ሌላ የከበረ ቦታ አስቀድመው ይለዩ። በየሠርጉ በዊልቸር ወይም በክራንች የሚመጣ አያት ወይም አክስት መኖሩን ለቤተሰቡ ማስታወስም ይበቃል፤ ብዙዎች ያን ጊዜ ራሳቸው ቦታውን ይጠብቃሉ።

መኪናው አስቀድሞ ከቆመስ?

ታርጋውን ይዞ ወደ ውስጥ ገብቶ የመኪናውን ባለቤት ማስጠራት ነው። ግቢው የድምፅ ማጉያ ካለው ቀለሙን፣ ዓይነቱንና ታርጋውን ጠርቶ መኪናው እንዲነሣ መጠየቅ በቂ ነው፤ ስድብ አያስፈልግም። በተደጋጋሚ የሚያደርግ ደንበኛ ካለ ከጥበቃው ጋር አያጋፍጡት፤ የግቢው ባለቤት ራሱ ደውሎ ያነጋግረው።

ቦታው ከግቢ ውጭ ከሆነ

በአስፋልት ዳር በራስዎ ሥልጣን ቀለም መቀባት አይችሉም። ለከተማው አስተዳደር በደብዳቤ ያመልክቱ፤ የቦታውን ንድፍ ከነልኩ ያያይዙ፣ ግልባጩን ለትራፊክ ፖሊስ ያድርጉ። በአካባቢዎ የአካል ጉዳተኞች ማኅበር ካለ አብሮ ቢፈርም ጥያቄው ክብደት ያገኛል። የሕግ መነሻም አይጎድልዎትም። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ተቀብላለች፤ የስምምነቱ አንቀጽ 9 ሕንፃዎችንና መንገዶችን በስም ጠቅሶ ተደራሽ እንዲሆኑ ያዝዛል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 አንቀጽ 36 ደግሞ የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ዊልቸር ለሚጠቀሙ ሰዎች የሚመች መግቢያ እንዲኖረው ደንግጎ ነበር። መኪና ማቆሚያው ተይዞ ወደዚያ መግቢያ መድረስ እንደማይቻል በአንድ ዐረፍተ ነገር ያስረዱ።

ፈቃዱ ሲመጣ ልኩ፣ ቀለሙና ምልክቱ ከላይ እንደተባለው ነው። ክረምት ባለፈ ቁጥር ጥቅምት ላይ ሰያፍ መስመሮቹን እንደገና ይቀቡ፤ ከሁሉ ቀድሞ የሚለቀው እሱ ነው፣ መስመሩ ሲጠፋም ሞተር ሳይክሎቹ ይመለሳሉ።