«ልጄ ምግብ አልበላም አለ» ለምትሉ

ሰሞኑን ሦስት እናቶች በተለያየ ቀን አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠየቁኝ። «ስድስት ወር ሞላው፣ ገንፎ ስሰጠው ይተፋዋል፣ ምን ላድርግ?» እኔ ሐኪም አይደለሁም። ፍኖተ ሰላም ላይ ሁለት ልጅ ያሳደግሁ፣ በመጀመሪያው ብዙ የተሳሳትሁ እናት ነኝ። የተሳሳትሁትን ብነግራችሁ ይጠቅማል ብዬ ነው።

መጀመሪያ መትፋቱን ተዉት። ሕፃኑ ስድስት ወር ሙሉ የሚያውቀው መጥባት ብቻ ነው። ማንኪያ ሲገባበት ምላሱ ወደ ውጭ ይገፋል፤ ልማድ ነው እንጂ ጥላቻ አይደለም። ዛሬ ሁለት ሦስት ማንኪያ ከቀመሰ በቂ ነው፣ ነገም እንደዚያው፣ አንድን ምግብ ስምንት አሥር ጊዜ ቀምሶ ነው አንዳንዱ የሚለምደው። እኔ በሦስተኛው ቀን «ይሄ ልጅ ገንፎ አይወድም» ብዬ ወሰንሁና ቀጠን ያለ አጥሚት በጡጦ ማጠጣት ጀመርሁ። ያ ነው ትልቁ ስህተቴ።

ልጁ ጠጣ። ሆዱ ተነፋ፣ ጥግብ ብሎ ተኛ፣ እኔም ደስ አለኝ። ሁለት ወር ሙሉ ግን ኪሎው ንቅንቅ አላለም። አንድ ቀን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ቤት መጣችና «እስኪ የሚበላውን አሳዪኝ» አለችኝ። አጥሚቱን አቀረብሁላት። በማንኪያ ቀዳች፣ ማንኪያውን ዘንበል አደረገችው፣ ሁሉም ጥርግ ብሎ ፈሰሰ። ማንኪያው ታጥቦ የተቀመጠ ነው የሚመስል። «እህቴ፣ ይሄ ውሃ ነው» አለችኝ። አፈርሁ።

ከዚያ ወዲህ መለኪያዬ እሱ ነው። ማንኪያውን ዘንበል ስታደርጉት ቶሎ የማይፈስ፣ ግን ለመዋጥ የማያንቅ መሆን አለበት። የሕፃን ሆድ ትንሽ ናትና በውሃ ከሞላችኋት ለምግቡ ቦታ የላትም። ከስድስት እስከ ስምንት ወር በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ፣ ቀስ እያላችሁ በአንድ ጊዜ እስከ ግማሽ ሲኒ አድርሱት (የቡናውን ሲኒ ሳይሆን 250 ሚሊ ሊትር የሚይዘውን የሻይ ኩባያ ነው የምላችሁ)። ከዘጠኝ ወር በኋላ ሦስት አራት ጊዜ፣ በመሃል ደግሞ ሙዝም ቢሆን የሆነ ነገር። ጡት እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ይቀጥላል። ጡጦውን ጣሉት ብል ይሻላል፤ አንገቱንና የሚጠባውን ጫፉን በደንብ ማጠብ መከራ ነው፣ ተቅማጡም ከዚያ ይመጣል። በሲኒና በማንኪያ ይበቃል።

አሁን ወደ ዱቄቱ። ምጥን ሲባል አሥራ ሁለት ዓይነት እህል የሚደባልቅ ሰው አለ፤ ኦቾሎኒ፣ ሱፍ፣ ኑግ፣ ምኑ ቅጡ። አያስፈልግም። ሦስት እጅ እህል፣ አንድ እጅ ጥራጥሬ፣ አለቀ። እህሉ ቤታችሁ ያለው ነው፤ ቡሬ አካባቢ በቆሎ፣ ቢቸና በኩል ጤፍና ስንዴ፣ ደጋ ከሆናችሁ ገብስ። ጥራጥሬው ሽምብራ ወይ ባቄላ ወይ ምስር። ጥራጥሬውን ቆሉት፣ ከክታችሁ ገለባውን አራግፉት፣ ከዚያ ከእህሉ ጋር አስፈጩ። ወፍጮ ቤት ስትሄዱ ግን ቀድሞ የተፈጨው ምን እንደሆነ ጠይቁ። እኔ አንድ ጊዜ ቅመም የገባበት ሽሮ ከተፈጨ በኋላ አስፈጭቼ፣ ልጁ በመጀመሪያው ጉርሻ ፊቱ ቀላ፣ እንባው ወረደ፣ ሦስት ቀን ማንኪያ ሲያይ አለቀሰ። ዱቄቱን እኛ በላነው። ጠዋት መጀመሪያ መሄድ ይሻላል።

ብዙ አታስፈጩ ደግሞ። ለሁለት ሳምንት የሚሆን በቂ ነው፤ ሲቆይ ይነቅዛል፣ ይሻግታል።

ገንፎ ብቻ ግን ምግብ አይሆንም። ልጁ ሲወለድ ይዞት የመጣው የብረት ክምችት ስድስት ወር አካባቢ እየተሟጠጠ ይመጣል፣ ስለዚህ ከየትም ፈልጋችሁ እንቁላል፣ ጉበት፣ የተፈጨ ሥጋ አስገቡ። እንቁላል ጥሩ አድርጎ ይቀቀል፣ ይፈርፈር፣ ገንፎው ላይ ይጨመር። ባሕር ዳር ላላችሁ ዓሣ አለ፣ ግን አጥንቱን በጣታችሁ እየዳሰሳችሁ ሁለት ጊዜ ፈትሹት። ድንች ያለው ሰው ምን ጎደለው? ድንች ቀቅሎ፣ ጎመን በደቃቁ ከትፎ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ቅቤ ወይ ዘይት። ካሮት፣ አቮካዶ፣ ማንጎ በየወቅቱ አለ። ጨውና ስኳር አያስፈልገውም፤ አልጫ ነው የምትሉት ለእናንተ ነው፣ እሱ ሌላ ጣዕም አያውቅም።

ሻይ በዳቦ የምትሰጡ፣ እባካችሁ ተዉት። ሻይ ብረቱን ሰውነት ውስጥ እንዳይገባ ያግደዋል፣ ሆዱንም ይሞላዋል። ቆሎና ኦቾሎኒ ለሕፃን አይሰጥም፣ ያንቃል። ቡና ሲፈላ ትልልቆቹ ልጆች ለትንሹ አንድ ሁለት ቆሎ አፉ ውስጥ ጣል እንዳያደርጉ ዓይናችሁን ከእነሱ አትንቀሉ።

ማር ላይ ከአማቴ ጋር ተጣልቻለሁ። የጎጃም ማር ስም ያለው ነው፣ እሳቸውም ንጹሕ ነጭ ማር ይዘው መጥተው «ድዱን ላሽለት» አሉ። ከአንድ ዓመት በታች ላለ ሕፃን ማር አይሰጥም። በማር ውስጥ ቦቱሊዝም የሚባል ጡንቻ የሚያሰንፍ በሽታ የሚያመጣ ተሕዋስ ሊኖር ይችላል፤ ማፍላትም አይገድለውም። ትልቅ ሰው ላይ ምንም አይልም፣ የሕፃን አንጀት ግን ገና አይችለውም። «እኛ በምን አደግን?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም፤ ማሩን ግን አስቀመጥሁት። ልደቱ ሲደርስ ራሳቸው አላሱት።

ሌላው ነገር መጋት ነው። እጅን እንደ ጭልፋ አድርጎ፣ ልጁን በጀርባው አስተኝቶ፣ አፍንጫውን ይዞ ማንቆርቆር። ብዙዎቻችን እንደዚያ ነው ያደግነው። ግን ምግቡ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል፣ ደግሞም ልጁ ምግብን ከመታፈን ጋር ያገናኘዋል። ቀጥ አድርጋችሁ ጭናችሁ ላይ አስቀምጡት፣ የራሱ ሳህን ይኑረው፣ ዓይን ዓይኑን እያያችሁ አውሩት። ፊቱን ካዞረ ቆም በሉ። እየቀለደ ይበላል፤ ግማሹ ፀጉሩ ላይ ነው የሚቀረው፣ ይታጠባል።

ሲታመም ደግሞ «ሆዱ ይረፍ» ብሎ ምግብ መከልከል አለ። አይሆንም። ጡት አብዝታችሁ፣ ምግቡንም በትንሽ በትንሹ ደጋግማችሁ ስጡ። ተቅማጥ ከሆነ አንድ ፓኬት ኦ አር ኤስ (የወጣውን ፈሳሽ የሚተካውን ዱቄት) በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጡ፣ ከ24 ሰዓት በላይ የቆየውን ድፉት፣ ዚንክ የሚባለውን ክኒንም ከጤና ኬላ ተቀበሉ። ተቅማጡ ቢቆምም ዚንኩ የታዘዘለትን 10 ወይ 14 ቀን ይጨርስ። «ግግ ነው» ብለው ድዱን ቧጥጠው ሊያወጡ ለሚመጡ በሩን ዝጉ፤ የሚያወጡት የልጁን ጥርስ ነው። ዓይኑ ከጎደጎደ፣ የጠጣውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ደም ከቀላቀለ ወይም መጥባት ካቃተው ቤት አትቆዩ። በደህናውም ቀን ጤና ኬላ ስትሄዱ የክንዱን ዙሪያ ቀለም ባለው መለኪያ አስለኩ። ከ11.5 ሳንቲ ሜትር በታች ከሆነ ቀይ ነው፣ የዚያኑ ቀን ሕክምና ይፈልጋል።

አሁን ጾም። ይሄን ማንም አይነግራችሁም፣ ሁሉም ቤት ግን አለ። ሕፃን ጾም የለበትም፣ ይህን ሁሉም ያውቃል። ችግሩ ዕቃው ነው። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፣ ለስምንት ወር ልጅ ደግሞ ሁለት ወር ሊሞላ ምን ቀረው? እናት እንቁላል ብትቀቅል ድስቱ ይነካካል ብላ ትፈራለች፣ ልጁም ከእሷ ጋር ይጾማል። በመጀመሪያው ልጄ እኔም እንደዚያ አደረግሁ። በሁለተኛዋ ጊዜ ግን አማቴን አማከርኋቸው። «ኧረ አንች፣ የዕቃ ነገር ነው እንጂ ሕፃን ምን ጾም አለበት!» አሉና ገበያ ወጥተው ትንሽ ድስት፣ አንድ ሳህንና አንድ ማንኪያ ገዝተው መጡ። የድስቱ እጀታ ላይ ቀይ ክር አሰሩበት። ከሌላው ዕቃ ርቆ በራሱ ሚስማር ላይ ተሰቀለ፣ ማጠቢያው ለብቻ፣ እንቁላሉም ቅቤውም እዚያ። ከዚያ ወዲህ ረቡዕና ዓርብ አላሳሰበኝም።

ልጅቷ አሁን አራት ዓመቷ ነው። ክሩ ደብዝዟል፣ ግን ማንም ሰው ያን ድስት ሲያነሳ «የኔ ነው!» ብላ ትጮሃለች።