አሮጌ ቫኪዩምን እንዴት ነፍስ እንዲዘራ ማድረግ ይቻላል

በፈረንጆቹ አቆጣጠር የ1930ዎቹ፣ የ40ዎቹና የ50ዎቹ ቫኪዩም ክሊነሮች የተሠሩት ተፈትተው እንዲጠገኑ ነው። አካላቸው ብረት ነው። የተያያዙትም በብሎን እንጂ በሙጫ አይደለም። ገመዱ ቢያረጅ ገመዱ ብቻ ይቀየራል፤ ሞተሩ ቢደክም ሞተሩ ወጥቶ ይጠገናል። ይህን ሥራ የምወደው ለዚህ ነው። ጠረጴዛ፣ ጥቂት መሣሪያና ትዕግስት ያለው ሰው ቀስ ብሎ ሊማረው ይችላል።

ምሳሌ የማደርገው የአሜሪካውን ኤሌክትሮሉክስ ሞዴል ኤክስኤክስኤክስ ነው። በ1937 የወጣ ማሽን ነው። መልኩን የነደፈው ሉሬል ጊልድ የተባለ ዲዛይነር ነው። ረዘም ያለ ሲሊንደር ሆኖ ጎኑ ቆዳ በሚመስል ነገር ተሸፍኗል፤ ጫፍና ጫፉ የሚያብረቀርቅ ብረት ነው። ጎማ የለውም፤ ከሥሩ ባሉ ሁለት ዘንጎች ላይ ይንሸራተታል። ውበቱ ሙዚየም አስገብቶታል። ለብዙ ዓመታት ስለተመረተም ዛሬም ከሰው ቤት ይገኛል። የእናንተ ሁቨር ወይም ኪርቢ ቢሆን ቅደም ተከተሉ ያው ነው፤ ቆሞ የሚገፋው ዓይነት ቺንጋና የሚሽከረከር ብሩሽ ይጨምራል።

1. ማሽኑን መምረጥ

አሜሪካ ላላችሁ ያርድ ሴል፣ ስሪፍት ሾፕና ኢስቴት ሴል ጥሩ ቦታዎች ናቸው። ሻጩ «ይሠራል፣ ሰክቼ ላሳይህ» ካለ በትህትና «ይቅር» በሉት። ለዓመታት ቤዝመንት ውስጥ የቆየ ማሽን ገመዱ ተሰነጣጥቆ፣ ሞተሩም እርጥበት ገብቶት ሊሆን ይችላል። እንዲያ እያለ መሰካት ደህና የነበረውን ሞተር ሊያቃጥል ይችላል። ብረቱን የነካውን ሰውም ኮረንቲ ሊይዘው ይችላል።

ይልቅ በዓይን፣ በእጅና በአፍንጫ መርምሩት። ሻጋታ ሻጋታ ቢሸት ችግር የለም። የተቃጠለ ሽቦ የሚሸት ከሆነ ግን የሞተሩ የሽቦ ጥቅልል ተቃጥሏል ማለት ነውና ለጀማሪ አይመከርም። ላዩ ላይ ያለ ዝገት ይለቃል፣ ጭረትም አያስጨንቅም። የሚያስጨንቀው የጎደለ ዕቃ ነው። የፊትና የኋላ ክዳኑ፣ ቱቦው፣ ቱቦው ጫፍ ላይ የሚሰኩት የብረት ቧንቧዎችና መጥረጊያ አፎቹ መኖራቸውን እዩ። ከሞተሩ ይልቅ እነዚህን ለብቻ ማግኘት ይከብዳል።

ማሽኑ ላይ የተለጠፈችውን ትንሽ የብረት ሰሌዳ ፎቶ አንሱ። ቮልቱና አምፔሩ እዚያ አለ። በኋላ ይፈለጋል።

2. መፍታት

ይህን ከቤት ውጭ ሥሩት። የአፍንጫና የአፍ መሸፈኛ (ኤን95 ቢሆን ይመረጣል) እና ጓንት አድርጉ። ውስጡ ያለው አቧራ የስንት ዓመት እንደሆነ አይታወቅም።

የጨርቅ ከረጢቱን አውጥታችሁ ገልብጡና በብሩሽ አራግፉት። አትጠቡት። ጨርቁ አቧራ የሚይዘው በሽመናው ጥግግት ነው፤ ውሃ ያንን ሊያላላው፣ ጠርዙ ላይ ያለውንም ብረት ሊያዝገው ይችላል።

ከዚያ በኋላ አንድም ነገር ፎቶ ሳታነሱ አትንቀሉ። በተለይ የሽቦዎቹን አቀማመጥ በደንብ አንሱ። ብሎኖቹን በየቦታቸው ለይታችሁ በትንንሽ ፌስታል አድርጉና ከየት እንደወጡ ጻፉበት። የካቻቢቴው አፍ ከብሎኑ ጎድጓዳ ጋር ልክ መሆን አለበት፤ ከጠበበ የብሎኑን አናት ይበላዋል። እምቢ ያለውን ብሎን ዘይት ጠብ አድርጉበትና አሳድሩት። በጉልበት የተሰበረ ብሎን ከሁሉ የከፋ ሥራ ያመጣል።

3. ሞተሩ

የሥራው ልብ እዚህ ነው፣ አትቸኩሉ። እነዚህ ማሽኖች ያላቸው ዩኒቨርሳል የሚባለው ሞተር ነው። ኮረንቲውን ወደሚዞረው ክፍል በሚያደርሱ ትንንሽ የካርቦን ቁራጮች ይሠራል፣ በደቂቃም ከ10,000 ዙር በላይ ይሽከረከራል። በዚህ ፍጥነት ላይ ትንሽ መጣመም ትልቅ ንዝረት ትሆናለች።

መጀመሪያ ፋኖቹን አውጡ። አብዛኛውን ጊዜ ሁለት የሚዞሩ ፋኖች አሉ፣ በመካከላቸው ደግሞ አየሩን የሚመራ የማይዞር ሳህን አለ። የትኛው ከየትኛው በፊት እንደነበረ፣ ፊቱም ወዴት እንደነበረ ምልክት አድርጉ። የፋኑ ዳዶ በአንዳንድ ሞተር ላይ በተቃራኒው አቅጣጫ የሚፈታ ስለሆነ፣ እምቢ ካለ ጉልበት ከመጨመር በፊት ጥርሱን አጥንታችሁ እዩት። ፋኑን በካቻቢቴ ፈልቅቃችሁ አታውጡ፤ ይጣመማል።

ካርቦኖቹን ስታወጡ የትኛው በየት በኩል፣ በየትኛው ፊቱ እንደነበረ በእርሳስ ጻፉ። ካርቦን በጊዜ ብዛት የሚያርፍበትን ቀለበት (የኮሙቴተሩን) ቅርጽ ይዞ ይበላል። ገና ረጅም ከሆነ በነበረበት መልሱት። ካጠረ ወይም ከተሸረፈ ቀይሩት። ልኩ ካልተገኘ ከፍ ያለ ካርቦን ገዝታችሁ በብርጭቆ ወረቀት ቀስ እያላችሁ ማሳነስ ይቻላል። አዲስ አበባ ያለ ሰው የድሪልና የግራይንደር ካርቦን እየለካ መሞከር ይችላል። ካርቦኑ በቤቱ ውስጥ ሳይንገጫገጭ፣ ሳይያዝም በነፃ መንሸራተት አለበት።

ኮሙቴተሩ ካርቦኑ የሚያርፍበት የመዳብ ቀለበት ነው። እኩል የሆነ ቡናማ ቀለም ካለው ጤነኛ ነው፤ ያንን ቀለም አትፋቁት። የጠቆረና የቆሸሸ ከሆነ በአልኮል በረጠበ ጨርቅ ጥረጉት። ካልለቀቀ በጣም ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት አስነኩት። ጥቁሩን የብረት ሸራ ወረቀት ግን አትጠቀሙ፤ ደቃቁ ኮረንቲ ሊያስተላልፍ ይችላል። በመዳቦቹ መካከል ያለውን ጠባብ ክፍተት በስንጥር እንጨት አጽዱ።

አሁን ቴስተር አምጡና ኦም ላይ አድርጋችሁ አንዱን መዳብ ከጎረቤቱ ጋር እየለካችሁ ዙሩት። ንባቡ ከዳር እስከ ዳር ተቀራራቢ መሆን አለበት። አንዱ ጥንድ ብቻ ከሌሎቹ በጣም ከራቀ ጥቅልሉ ተበጥሷል ወይም ተነካክቷል። ያን ጊዜ ሞተር ለሚጠቀልል ባለሙያ ስጡት። ቀጥሎ ከእያንዳንዱ መዳብ ወደ መሐል ዘንጉ ለኩ። እዚህ ምንም ማለፍ የለበትም።

ኩሽኔታውን በጣት አዙሩት። የድሮ ግራሶ ደርቆ ሰም ይሆናል። ከተጎረበጠ ወይም ካሽካካ አጥቦ ከመመለስ መቀየር ይሻላል፤ ዋጋው ትንሽ ነው። ቁጥሩ ጎኑ ላይ አለ። ለምሳሌ 608 የሚል ከሆነ የውስጡ ስፋት 8፣ የውጪው 22፣ ውፍረቱ 7 ሚሊ ሜትር ነው። ቁጥሩ ከጠፋ በካሊፐር ለኩት። ክዳን ያለውን፣ ለከፍተኛ ፍጥነት የሚሆነውን ዓይነት ግዙ። ስታስገቡት የውጪውን ቀለበት እየመታችሁ ዘንጉ ላይ አትግፉት፤ ውስጡ ያሉት ኳሶች ይጎዳሉ። የውስጡን ቀለበት ብቻ የሚነካ ቱቦ ተጠቀሙ።

4. ገመዱ

ያለማመንታት ቀይሩት። የዚያ ዘመን ጎማ ይደርቃል፣ ሲታጠፍም ይሰነጠቃል። ላዩ ጨርቅ ስለሆነ አይታይም እንጂ ውስጡ ራቁቱን ሊሆን ይችላል። መልኩን ለሚወዱ ዛሬም በጨርቅ የተሸፈነ፣ ውስጡ ግን አዲስ የሆነ ገመድ ይሸጣል። ውፍረቱን ከሰሌዳው አምፔር ጋር አመሳክሩ።

ገመዱ ወደ ማሽኑ በሚገባበት ቦታ መያዣ ይኑረው፤ ማንም ቢጎትተው ጭነቱ በስታኞ የተበየደው ላይ እንዳይመጣ። ሽቦ ከሽቦ ያጣመራችሁበትን ናስትሮ ጠቅልሎ መተው አይበቃም፤ በዩት፣ ወይም በትክክለኛ መያዣ እሰሩት። አሜሪካ ስፒናው ባለሁለት እግር ከሆነ፣ ጠባቡ እግር የሚመጣበት ሽቦ ወደ ማብሪያ ማጥፊያው ይሂድ።

ማሽኑ የመሬት ሽቦ የለውም። አካሉ ደግሞ ብረት ነው። ስለዚህ የሚቀጥለው ልኬት የሰው ሕይወት ጉዳይ ነው። ማብሪያውን አብሩ፣ አትሰኩት። ከስፒናው እግሮች ወደ ብረቱ አካል ለኩ። ቴስተሩ ምንም ማሳየት የለበትም። ሜገር (በከፍተኛ ቮልት ኮረንቲ ማፍሰስን የሚፈትሽ መሣሪያ) ያለው ሰው ብታገኙ የበለጠ ይታመናል፤ በ500 ቮልት ከ1 ሜጋኦም በታች ካነበበ ማሽኑ አይሰካ። ሞተሩን ሞቅ ባለ ደረቅ ቦታ አቆይታችሁ እንደገና ለኩ። ያኔም ካልተሻሻለ ለባለሙያ አሳዩት።

5. የመጀመሪያው ኮረንቲ

በቀጥታ ግድግዳ ላይ አትሰኩ። አንድ የ100 ዋት የድሮ ዓይነት አምፖል (ኤልኢዲ አይሆንም) በማሽኑ መንገድ ላይ በተከታታይ አስገቡ። ኮረንቲው በአምፖሉ አልፎ ነው ሞተሩ ጋ የሚደርሰው። አምፖሉ በሙሉ ኃይሉ ከበራና ሞተሩ ጨርሶ ካልተንቀሳቀሰ የሆነ ቦታ ተነካክቷል ወይም ሞተሩ ተይዟል። አምፖሉ ደብዘዝ ብሎ ሞተሩ ዝግ እያለ ከዞረ ደስ ይበላችሁ። ይህን ግንኙነት ከዚህ በፊት ሠርታችሁ የማታውቁ ከሆነ የሚያውቅ ሰው አጠገባችሁ ይቁም።

ከዚያ ኮረንቲ ሲያፈስ ራሱን በሚያጠፋው ሶኬት ላይ ሰኩት። አሜሪካ ኩሽናና መታጠቢያ ቤት ውስጥ ያለው፣ ሁለት ቁልፍ ያለው ሶኬት ነው። 5 ሚሊ አምፔር አካባቢ ሲያፈስ ይቆርጣል። ሶኬቱ ከቆረጠ ማሽኑ ጥፋት አለበትና ወደ ልኬቱ ተመለሱ።

ካርቦኑ ላይ ትንሽ ሰማያዊ ብልጭታ የተለመደ ነው። እሳቱ ኮሙቴተሩን ዞሮ ቀለበት ከሠራ ግን ወዲያው አጥፉ። አዲስ ካርቦን ካስገባችሁ ቱቦ ሳታያይዙ በየመሐሉ እያረፈ ትንሽ ትንሽ ይዙር፤ ቅርጹን እስኪይዝ ነው። ድምፁ እኩል እየሆነ ሲመጣ ትሰሙታላችሁ።

6. አየር የሚያፈስበት

ሞተሩ ጤነኛ ሆኖ «አይስብም» የሚባል ማሽን ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ አየር ማፍሰስ ነው። የፊት ክዳኑ የሚያርፍበት ጎማ ደርቆ ድንጋይ ሆኗል። ለስላሳ የጎማ ሉህ ገዝታችሁ በልኩ ቁረጡለት።

ቱቦውን ለመፈተሽ ማሽኑን አብሩና የተለኮሰ የዕጣን እንጨት ቀስ አድርጋችሁ በርዝመቱ አሳልፉ። ጭሱ ወደ ቱቦው የተሳበበት ቦታ ቀዳዳ አለ። ፍሙን ጨርቁ አታስነኩ። ቀዳዳው አንድ ሁለት ከሆነ ይለጠፋል። ሁሉም ቦታ ከሳበ ግን የብረት ጫፎቹን ነቅላችሁ በአዲስ ቱቦ ላይ ማዛወር ነው የሚያዋጣው።

የድሮው የጨርቅ ከረጢት ደቃቁን አቧራ በኋላ በኩል መልሶ ይለቃል። አስም ያለበት ሰው ቤት ካለ ማሽኑን በአዲስ የወረቀት ወይም የሰው ሠራሽ ጨርቅ ከረጢት ተጠቀሙበት፤ ዋናውን ከረጢት ለቅርስ አስቀምጡት።

7. መልኩ

እዚህ ላይ ጠንከር ያለ አቋም አለኝ፦ አዲስ አታስመስሉት። በብዙ እጅ የለሰለሰው እጀታ፣ የሶፋ እግር የጫረው ጎን፣ እነዚህ የማሽኑ ታሪክ ናቸው። ቆሻሻውንና ዝገቱን አንሱ፣ ዕድሜውን ተዉለት።

ክሮም ላይ ያለ ዝገት በጨበጣችሁት የአልሙኒየም ፎይልና በውሃ ሲታሽ ይለቃል። ቆዳ መሰሉን ሽፋን ለስለስ ባለ ሳሙናና እርጥብ ጨርቅ ጥረጉ፤ ቀለሙ የነጣበትን ቦታ ተመሳሳይ የጫማ ቀለም ይመልሰዋል። የድርጅቱ ስም ያለበትን ጽሑፍ አትፈትጉ፣ ከሄደ አይመለስም። የድሮ ቀለም ሊድ ሊኖረው ስለሚችል በደረቁ አትፈግፍጉት።

ወደ አገር ቤት የምትወስዱት ከሆነ

የአሜሪካ ማሽን የተሠራው ለ110 እስከ 120 ቮልት ነው። ኢትዮጵያ ያለው 220 ነው። በቀጥታ የተሰካ ዕለት ሞተሩ ይቃጠላል። የድግግሞሹ ልዩነት፣ የ50 እና የ60 ኸርዝ ጉዳይ፣ ዩኒቨርሳል ሞተርን አያስቸግረውም፤ የሚያስፈልገው ቮልት ቀናሽ ትራንስፎርመር ብቻ ነው። ሰሌዳው ላይ ያለውን አምፔር በ120 አባዙት። 5 አምፔር ከሆነ 600 ዋት ይመጣል። ሞተር ሲነሳ ብዙ ኮረንቲ ስለሚስብ ቢያንስ እጥፉን፣ 1,200 ዋት አካባቢ የሚችል ትራንስፎርመር ግዙ። ለስልክና ለመላጫ የሚሸጡት ትንንሾቹ መቀየሪያዎች ይህን ጭነት አይችሉም።